በዓሣው ኮንቴይነር ውስጥ የተገኘው ሰው

ማክሰኞ ጠዋት የወደቡ ዘበኞች አፍንጫቸውን በኮሌታቸው ሸፍነው የአንዱን ማቀዝቀዣ ኮንቴይነር በር ሲከፍቱ፣ መጀመሪያ ጥቁር ውሃ እግራቸው ላይ ፈሰሰ። ቀጥሎ ወደቡን የሚያስተዳድረውን ኩባንያ የሥራ ደኅንነት ሹም አዩት። በበሰበሱ የዓሣ ካርቶኖች መሃል፣ ከበሩ ሥር፣ ጉልበቱን አቅፎ ተቀምጧል። አንደኛው ዘበኛ ሮጦ ሄዶ ባሕሩ ውስጥ አስመለሰ።

መርማሪዋ ስትደርስ አለቃውም ምንዝሩም ነፋሱ በማይመጣበት በኩል ርቆ ቆሟል። መሥሪያ ቤቷ ውስጥ፣ እሷ በሌለችበት፣ «እሜቴ አፍንጫ» ይሏታል፤ ሌላው ዝም ብሎ የሚያልፈው ነገር ስለሚሸታት ነው። የዛሬው ግን የእሷን አፍንጫ የሚጠይቅ አልነበረም። ጓንቷን አጠለቀችና ትንፋሿን ይዛ ገባች።

የሟቹ ጃኬት እስከ አንገቱ ተቆልፏል። ከጃኬቱ ሥር፣ ደረቱና ጀርባው ላይ፣ የካርቶን ቁራጮች ተጠቅጥቀዋል። አንገቱና ጆሮው በዕቃ መጠቅለያ ላስቲክ ተጠምጥመዋል። መርማሪዋ አንዱን ቁራጭ ከደረቱ ሳብ አድርጋ አየችው። ጠቁሯል፣ ረጥቧል፤ የተቀደደበት ጫፍ ግን ቀጥ ያለ ነው። ከዚያ አጠገቧ ያለውን የዓሣ ካርቶን ያዘችው። እንደ ጭቃ እጇ ላይ ሟሟ። የሟቹ ሄልሜት ተሰንጥቆ ወድቋል፤ የበሩ ውስጠኛ ገጽ ተደብድቦ ጎድጉዷል።

ወጥታ ስትተነፍስ የግቢው አለቃ ውሃ አቀበላት። ትከሻው ሰፊ፣ ድምፁ ቀጭን ሰው ነው።

«ማሽኑ ምን ሆኖ ነው?» አለችው።

«ተበላሽቶ ነው፣ እመቤቴ። ዓሣው በሰበሰ፤ እሳቸውም ምን ሸተተ ብለው ገቡ። የብስባሹ ጋዝ ጨረሳቸው። ነፍስ ይማር።»

መርማሪዋ ወደ ማሽኑ ሄዳ ማብሪያውን ተጫነችው። ማሽኑ አጉረመረመ፤ ማራገቢያው ያለ አንዳች ችግር መዞር ጀመረ። የግቢው አለቃ መሬት መሬቱን አየ።

«በሩንስ በላያቸው ማን ዘጋው?»

«የሚያልፍ ሠራተኛ... ሰው መኖሩን ሳያውቅ...»

«መጨረሻ በታዩበት ምሽት የሚያልፍ ሠራተኛ ነበር?»

«ኧረ አልነበረም። ለፊርማው ግብዣ ተብሎ ሥራ ሁሉ ቆሞ ነበር። ክሬኖቹም አምፖል ተሰቅሎባቸው ለጌጥ ቆመዋል።» ይህን ካለ በኋላ አፉን በእጁ ያዘ።

ግብዣው ካለፈ ሁለት ሳምንት ሊሞላው ነው። ኩባንያው በሌላ አገር አንድ ትልቅ ወደብ ለመረከብ የፈረመበት ምሽት ነበር። የግብዣው አዳራሽ ጀርባው እዚሁ ነው። በግድግዳውና በኮንቴይነሩ መካከል መኪና አያልፍም።

የኩባንያው ሊቀመንበር የተቀበላት በላይኛው ፎቅ፣ ግድግዳውን የዓለም ካርታ በሞላው ክፍል ውስጥ ነው። ካርታው ላይ ኩባንያው በያዘው ወደብ ሁሉ ትንሽ መብራት በርቷል። ሽማግሌው ሽታውን ለማጥፋት ሽቶ አስረጭቷል፤ ሽቶውና ብስባሹ ተደባልቀው ክፍሉን ከታችኛውም የባሰ አድርገውታል።

«በአንዲት የተሰነጠቀች የመርከብ ማቆሚያና በአንድ አሮጌ ክሬን ነው የጀመርነው፣ ልጄ» አላት ዓይኑን እየጠረገ። «እኔና እሱ። እሱ ገመድ ይጎትታል፣ እኔ መርከበኛ እለምናለሁ። እንደዚያ ሆነን ጎረቤት ወደብ ያዝን፤ ከዚያ ባሕር ተሻገርን። ዛሬ ፀሐይ ስትወጣም ስትጠልቅም የምታየው የኛን ክሬን ነው። እህቴን የዳርኩለት እኔው ነኝ።»

«ለመጨረሻ ጊዜ መቼ አዩት?»

«በግብዣው ምሽት፣ እንግዶች ሳይገቡ፣ ደጃፉ ላይ። ሩቅ ወደቦችን ሊጎበኝ መንገድ ሊሄድ ነበር። ‹አንዱ ኮንቴይነር ክፉኛ ይሸታል፤ አይቼው በዚያው ወደ አውሮፕላን እሄዳለሁ› አለኝ። እኛም ሄዷል ብለን ነበር።»

«ይሸታል አለ?»

«በጆሮዬ ነው የሰማሁት!»

የሊቀመንበሩ ልጅ የማስፋፊያ ኃላፊ ነው። ስልኩን ከእጁ ሳያወርድ፣ በቆመበት መለሰላት።

«ከአጎትህ ጋር በግብዣው ቀን ተጣልታችኋል አሉ።»

«በሚገባ ተጣልተናል! አምና በያዝነው ወደብ አንድ ክሬን ወድቆ ሠራተኞች ሞቱ። እሱ ክሬኑ ተሰንጥቋል ብሎ ሲጨቀጭቀን ነበር፤ እኛ ደግሞ በአዲሱ ወደብ ሩጫ ጥገናውን አቆየነው። ታዲያ ይህንን በግብዣው መሃል፣ በእንግዶቹ ፊት ካልተናገርኩ አለ። ‹ሰው እኮ በየትኛውም ወደብ ይሞታል› ስለው ሊመታኝ ተነሳ።»

«ለማን ነገርክ?» አለችው።

«ለማን ልነግር? ለአባቴ ነዋ። ‹ተወው፣ እኔ አረጋጋዋለሁ› አለኝ።»

የሟቹ ሚስት ታች፣ በእንግዳ ማረፊያ ክፍል ውስጥ ነበረች። እጇን ጭኗ ላይ አጣምራ ተቀምጣለች። መርማሪዋ ወንበር ስባ አጠገቧ ተቀመጠች።

«እትዬ፣ ግብዣው ላይ ነበሩ?»

«ከወንድሜ ጎን ነበርኩ። ባለቤቴ ሳይሰናበተኝ ሄደ ብዬ ሆዴ ባብቶ ነበር። ወንድሜ አጽናናኝ። ሥጋውን እየቆረጠ ያጎርሰኝ ነበር።»

«የተለየ ነገር አላዩም? አልሰሙም?»

ሴትዮዋ አሰበች። «ምንም። ከግድግዳው ጀርባ ብረት የሚመታ ነገር ነበር። ምንድን ነው ብዬ ወንድሜን ብጠይቀው ‹ክሬኑ ዕቃ እያወረደ ነው› አለኝ። በኋላ እሱንም አልሰማነው፤ ሙዚቃው በረታ። ገርሞኝ ነበር፤ ወንድሜ ጩኸት አይወድም፤ ያን ቀን ግን ራሱ ተነስቶ ሙዚቀኞቹን ‹ከፍ አድርጉት› አላቸው።»

መርማሪዋ የሴትዮዋን እጅ ያዘች፤ ቶሎ መልቀቅ አቃታት።

ከሰዓት በኋላ ሁሉንም በዚያው የግብዣ አዳራሽ ውስጥ ሰበሰበቻቸው። የእንኳን ደስ አላችሁ ጨርቁ ገና አልወረደም። ሁለት ፖሊሶች በሩ ላይ ቆሙ።

«ይህ ሰው በጋዝ ታፍኖ ሞተ ብላችሁኛል» ብላ ጀመረች። «የታፈነ ሰው ኮሌታውን ይፈታል። ይህ ግን እስከ አንገቱ ቆልፎ፣ ጆሮውን በላስቲክ ጠምጥሞ፣ ልብሱ ውስጥ ካርቶን ጠቅጥቆ ነው የሞተው። እንዲህ የሚያደርገው የበረደው ሰው ነው።»

«ማሽኑ ተበላሽቶ የለም እንዴ?» አለ ልጁ።

«ማሽኑ ከኔም ከአንተም ጤነኛ ነው። ደግሞ ካርቶኖቹን እዩ። ዛሬ ሲይዟቸው ይሟሟሉ፤ እሱ የቀደዳቸው ግን ጫፋቸው ቀጥ ያለ ነው፤ ሲቀደዱ ደረቅ ነበሩ ማለት ነው። ስለዚህ እሱ ሲገባ ዓሣው በረዶ ነበር፤ አንዲት ጠብታ አልፈሰሰችም። የዓሣው መበስበስ ከሞቱ በኋላ የመጣ ነው። ብርድ የገደለውን ሰው ጋዝ ገደለው ለማሰኘት ማሽኑ እንዲጠፋ ተደረገ።» ወደ ግቢው አለቃ ዞረች። «ማን አጥፋው አለዎት?»

ሰውየው ወደ ሊቀመንበሩ አየ። «በማግስቱ... ጋሼ ሊቀመንበሩ ናቸው። ‹የዓሣው ባለቤት ትቶታል፤ መብራት በከንቱ አይባክን› አሉኝ። ሰው ይኖራል ብዬ አላሰብኩም፤ እውነቴን ነው! መሽተት ሲጀምር... ጠረጠርኩ። ልጆች አሉኝ፣ እመቤቴ። ዝም አልኩ።»

«ልጅ የሌለው ማን አለ?» አለችው፤ ከዚያ በኋላ አላየችውም። ወደ ሊቀመንበሩ ሄደች። «‹ይሸታል› ብሎ ነገረኝ አሉኝ። ዓሣው በረዶ ሆኖ ሳለ ምኑ ይሸታል? ያንን ቃል ሊፈጥረው የሚችለው በኋላ እንደሚሸት የሚያውቅ ሰው ብቻ ነው።»

ሽማግሌው ካርታ የሌለበት ግድግዳ ላይ ዓይኑን ሲያንከራትት ቆየና ድምፁ ወረደ።

«ልገድለው አልነበረም። ፊርማው እስኪያልቅ እንዲቆይልኝ ነበር። ‹አንዱ ማቀዝቀዣ ችግር አለው፣ እይልኝ› አልኩት፤ ገባ፤ ዘጋሁት። ለትንሽ ጊዜ ብዬ ነው። እንግዶች መጡ፣ ፎቶ ተነሳን፣ ጽዋ ተነሳ...» እጁን ዘረጋ። «ረሳሁት።»



«አልረሱትም» አለች መርማሪዋ። «ሄልሜቱ እስኪሰነጠቅ በሩን ሲደበድብ እዚህ ተሰምቷል። እህትዎ ጠየቁዎት፤ ‹ክሬን ነው› አሏቸው። ያን ምሽት አንድም ክሬን አልሠራም። ከዚያ ተነስተው ሙዚቃውን አስጮኹት። የረሳ ሰው ሙዚቃ ከፍ አያስደርግም።»

የሟቹ ሚስት ቀስ ብላ ቆመች። ነገሩ የገባት አሁን ነው።

«እሱ ነበር?» አለች ወንድሟን እያየች። «ያ ሲመታ የነበረው... እሱ ነበር? ስጠይቅህ? እያጎረስከኝ?»

ሽማግሌው ሊይዛት እጁን ዘረጋ። እሷ ወደ ኋላ ሸሸች፤ እጇን አፏ ላይ ጭና፣ ያን ምሽት የበላችውን ዛሬ ልታወጣው የምትፈልግ ይመስል አጎነበሰች።

የልጁ ስልክ ጠራ። አይቶ አጠፋውና ጉሮሮውን ጠረገ። «ይቅርታ፣ ጊዜው አይደለም፤ ግን ኮንቴይነሩ መቼ ይለቀቅልናል? ነገ መርከብ ይገባል፤ ቦታው ያስፈልጋል።»

አክስቱ ቀና ብላ አየችው። ጫማው ላይ እንትፍ አለችና ወጣች።

ፖሊሶቹ ሊቀመንበሩን በኮንቴይነሮቹ ረድፍ መካከል ይዘውት ሄዱ። ሌላ መንገድ ነበር፤ በዚህ በኩል ይሂድ ያለችው መርማሪዋ ናት። በሩ ገና ክፍት ወደ ሆነው ኮንቴይነር ሲቃረቡ ሽማግሌው ከደረት ኪሱ ነጭ መሀረብ አውጥቶ አፍንጫው ላይ አደረገ።

መርማሪዋ እጇን ዘርግታ መሀረቡን ወሰደችበት።

«ያሽትቱት» አለችው።