የወረቀቱ ባዶ ፊት

«ማተሚያው መቀባጠር የጀመረው በየትኛው ቀን ነው?»

መርማሪው ፖሊስ ሻምበል አብተው ይህን የጠየቀው ጠራጊዋን ሸዋወርቅን ነበር። ቀኑ ሐሙስ፣ የካቲት 16 ቀን 1981 ነበር። ማለዳ የአዳማውን የዘይት ፋብሪካ ግቢ ልትጠርግ ስትገባ የኮምፒውተር ሠራተኛውን ኡርጌሳን ከውኃ ማማው ሥር ወድቆ፣ ሞቶ አገኘችው። ሦስት ሰዓት ላይ ደግሞ ፖሊሶች መጥተው አንድ ልጇን ሁንዴን በርሜል ከሚጭንበት መኪና ላይ አውርደው፣ እጁን አስረው ወሰዱባት። ይህ ሁሉ በአንድ ጠዋት የወረደባትን እናት ስለ ማተሚያ መጠየቅ ምን ይሉታል? ጀርባዋን ሰጥታው መጥረጊያዋን አነሳች።

ሁንዴን ያስያዘው በሟቹ የሸሚዝ ኪስ የተገኘ ደብዳቤ ነው። በኮምፒውተር የታተመ፣ ፊርማ የሌለው፣ አጭር ደብዳቤ። «የካቲት 15 ቀን 1981። የዘማቾችን ዝርዝር አበላሽቻለሁ። ሁንዴ ስሜን ካላወጣህ እገድልሃለሁ እያለ ሲያስፈራራኝ ሰንብቷል። ከዚህ በኋላ መኖር አልፈልግም። ኡርጌሳ።»

ዝርዝሩ የብሔራዊ ውትድርና ነው። ከፋብሪካው ሠላሳ ሁለት ወጣት ተጠይቆ ነበር፤ መኪናው ቅዳሜ ይመጣል። የመበለት እናቱ ብቸኛ ጧሪ የሆነ አይካተትም ተብሎ በስብሰባ ተነግሮ ነበር። ዝርዝሩ ሲለጠፍ ግን ሁንዴ ተራ ቁጥር አሥራ አራት ላይ ተገኘ። ሸዋወርቅ ለማን አቤት እንደምትል ሳታውቅ ስድስት ቀን አለፋት። አሁን ደግሞ ይህ መጣ። ልጇ ወንጀለኛ ነው ከተባለ እስር ቤት፣ ንጹሕ ነው ከተባለ ጦር ግንባር።

ሻምበል አብተው አጭር፣ ድምፁ ዝቅ ያለ ሰው ነው። ከሰው ፊት ይልቅ ሰው የጣለውን ነገር ማየት ይወዳል። ወደ ኮምፒውተሩ ክፍል እንደገባ መጀመሪያ ያየው የወረቀት ቅርጫቱን ነበር። ባዶ ነው።

«ወረቀቱን ምን ያደርጉታል?» አላት።

«አቃጥለዋለሁ» አለች ሸዋወርቅ። ዋሸች።

ሻምበሉ ዓይኑን ከእጆቿ ላይ አላነሳም። በቀኝ እጇ ጣት ላይ የእርሳስ ጥቁረት ነበረ።

ስለ ማተሚያው የጠየቃት ያለ ምክንያት አልነበረም። ከእሷ በፊት ጸሐፊዋን ፀሐይቱን አነጋግሯል። ፀሐይቱ ዓይኗ በለቅሶ አብጦ ነበር፤ ማክሰኞ ዕለት ከኡርጌሳ ጋር ሠራተኛ ሁሉ እየሰማ ስለተጣላች ሰው በክፉ እያያት መሆኑንም ታውቃለች።

«ደብዳቤው የዚህ ማተሚያ ነው?» ብሎ ጠየቃት።

«የዚሁ ነው። አንድ መርፌው ከተሰበረ ዓመት ሆኖታል። በየፊደሉ ወገብ ላይ ይቺ ነጭ መስመር የምትታየው ለዚያ ነው። ግን ረቡዕ ዕለት ሊታተም አይችልም። ከሰኞ ጀምሮ አንድ ደህና ፊደል አልወጣውም።»

«ተበላሸ?»

«የሚያናድደውም ይኼ ነው እኮ። ማተሚያው ደህና ነው፤ ኮምፒውተሩም ደህና ነው። ሰኞ ከአዲስ አበባ ባለሙያ መጥቶ ዋናውን ፕሮግራም በአዲስ ቀየረው። የድሮዎቹን ዲስኬቶች ደግሞ አስፈርሞ ይዟቸው ሄደ።»

«ዋናው ቢቀየር ማተሚያውን ምን አገባው?»

ፀሐይቱ ኡርጌሳ እንዳስረዳት አስረዳችው። ኮምፒውተሩና ማተሚያው በቀጥታ አይግባቡም። በመሐላቸው አንድ ትንሽ ፕሮግራም አለ፤ ፈረንጆቹ ድራይቨር ይሉታል፣ ኡርጌሳ አስተርጓሚው ይለው ነበር። አስተርጓሚው የተጻፈው ለድሮው ፕሮግራም ነው። ፊደሉን ከየት እንደሚያነሳ፣ የትኛውን በር እንደሚያንኳኳ የሚያውቀው በድሮው አሠራር ብቻ ነው። አዲሱ ደግሞ ሁሉን ነገር ከቦታው አንቀሳቅሶታል።

«ቀበሌው የቤት ቁጥር በቀየረ ጊዜ አሮጌውን ቁጥር ይዞ ሲዞር የነበረውን ፖስተኛ ያስታውሱታል?» አለች ፀሐይቱ። «ሰውየው አልሰነፈም፤ ደብዳቤውም ደህና ነው። ግን የእኔን ለጎረቤት፣ የጎረቤትን ለወፍጮ ቤት ይሰጥ ነበር። ይኼም እንደዚያ ነው። ፊደል ሊያነሳ ሄዶ ያገኘውን ዝባዝንኬ ይዞ ይመጣል።»

«አዲስ አስተርጓሚ አይጻፍም?»

«የድሮውን የጻፉት ያንን ማተሚያ መሥራት ከተዉ ቆዩ። ለተዉት ዕቃ ማን ይደክማል? እኛ ደግሞ አሠራሩን የሚገልጸው ወረቀት የለንም። ኡርጌሳ አስተርጓሚው ሳይገኝ ዋናውን አትንኩ ብሎ ለምኖ ነበር። የሰማው የለም፤ ከበላይ የሚመጡ ጎብኚዎች አዲስ ነገር ማየት አለባቸው ተባለ። እኔ ደግሞ በሱ ፈረድኩ። ደብዳቤ ሁሉ በእጄ ስጽፍ ዋልኩና ማክሰኞ ጮህኩበት።» እንባዋ ወረደ። «ጥፋቱ የሱ አልነበረም።»

የበሩ ጥበቃ ባጫም ይህንኑ መሰከረ። ከሰኞ ጀምሮ የመውጫ ወረቀት በእጅ እየተጻፈ እንደሚመጣለት ነገረው። ስለ ማማው ቁልፍ ሲጠየቅ፣ አንዱ በወገቡ እንዳለ፣ ሁለተኛው በሠራተኛ አስተዳደር ክፍል እንደሚንጠለጠል አሳየ። «እኔ ረቡዕ ለማንም አልከፈትኩም፤ ዋቃ ያውቃል» አለ። ነገር ግን ባጫና ፀሐይቱ ራሳቸው የሚጠረጠሩ ናቸው። ሻምበሉ ከሁለቱ አፍ ውጭ ሌላ ማስረጃ ይፈልግ ነበር።

የሠራተኛ አስተዳደር ኃላፊው ጓድ ተክለሃይማኖት ሻምበሉን ቆሞ ተቀበለው። ከእሑድ ጀምሮ ባቱ ለሥልጠና ሄዶ እንደነበር፣ በዚያ ጠዋት ገና መግባቱ እንደሆነ ተናገረ።

«ያሳዝናል፤ የተማረ ልጅ ነበር። በሚሠራበት ማሽን ጽፎ ሞተ» አለ። «ያን በርሜል ጫኝ ግን እንዳትለቁት።»

ሻምበል አብተው ደብተሩ ላይ አንድ መስመር ጻፈና ወጣ።

ከሰዓት በኋላ ሸዋወርቅ ቤቷ ገብታ ፍራሹን ገለጠች። ከሥሩ የወረቀት ክምር ነበር። ሁለት ወር ሙሉ ከቅርጫቱ ስታወጣ የቆየችው ነው። ወረቀቱ በአንድ በኩል ይታተምበታል፤ በሌላው በኩል ንጹሕ ነው። በንጹሑ ፊት ፊደል ትለማመዳለች፤ ደብተር መግዣ ስለሌላት ነው። የመንግሥት ንብረት ነው ተብሎ አንዲት ሴት አሮጌ ጆንያ በመውሰዷ መታሰሯን ሰምታለች። ለዚህ ነው የዋሸችው።

ክምሩን በነጠላዋ ሸፍና መሠረተ ትምህርት ወደምታስተምራት ወደ ፋዲላ ሄደች።

«ሰርቄ ነው» አለች። «ብታሰርም ልታሰር። ሰውየው ስለ ማተሚያው ቀን ጠይቆኛል።»

ፋዲላ ወረቀቶቹን አንድ በአንድ ገለበጠች። ፊቷ ተለወጠ።

«እትዬ ሸዋ፣ ጀርባውን አይተውት ያውቃሉ?»

«እኔ የማየው ባዶውን ፊት ነው።»

ዓርብ አራት ሰዓት ላይ ሻምበል አብተው ሁሉንም በኮምፒውተሩ ክፍል ሰበሰበ። ጓድ ተክለሃይማኖት ከፊት ወንበር ያዘ። ፀሐይቱ ከማሽኑ አጠገብ፣ ባጫ ከበሩ፣ የዘመቻ ጽሕፈት ቤቱ ተወካይ ከመስኮቱ ሥር ሆኑ። ሁንዴ እጁ እንደታሰረ ቆሟል፤ ሸዋወርቅና ፋዲላ ከጎኑ።

«ፀሐይቱ፣ የኡርጌሳን ስም አትሚልኝ» አለ ሻምበሉ።

ማተሚያው ተንጫረረ። የወጣው ስም አይደለም፤ የቁጥር፣ የጭረትና የነጠብጣብ ዝብርቅ ነው። አንድ ሰው ብቻ ከወንበሩ ዞሮ ወረቀቱን አፍጥጦ አየ። ሌሎቹ አልዞሩም፤ ምን እንደሚወጣ ያውቁታል።

«ጓድ፣ ገረመዎት?»

«ዛሬ ተበላሽቶ ይሆናል» አለ ተክለሃይማኖት።

ሻምበሉ ሸዋወርቅና ፋዲላ ትናንት ማታ ያመጡለትን ወረቀቶች ጠረጴዛው ላይ ዘረጋ። በየወረቀቱ ባዶ ፊት የተለማመደችው ፊደል አለ፤ ከሥሩም የፋዲላ ቀይ እርማትና ቀን።

«እኚህ እናት ከቅርጫቱ ያወጡትን በዚያው ቀን ይጽፉበታል፤ መምህርቷ በዚያው ቀን ታርማለች። የካቲት 11፣ ቅዳሜ፤ ጀርባው ጥርት ያለ አማርኛ ነው። የካቲት 13፣ ሰኞ፤ ዝብርቅ። 14 ዝብርቅ፤ 15ም ዝብርቅ። በኪሱ የተገኘው ደብዳቤ ግን 15 ይላል፣ ፊደሉም የጠራ ነው። እንግዲህ ደብዳቤው የታተመው ከሰኞ በፊት ነው። ረቡዕ እሞታለሁ ብሎ በቀደመው ሳምንት የሚያትም ማነው? ረቡዕን የመረጠው ገዳዩ ነው።»

«ራሱ ኡርጌሳ አትሞት ይሆናል።»

«ኡርጌሳ ሰኞና ማክሰኞ ከዚህ ማተሚያ ጋር ሲታገል የዋለ ሰው ነው። ረቡዕ ሊሞት ቢፈልግ በእጁ ይጽፍ ነበር። ፀሐይቱም ባጫም ቢሆኑ የታተመ ደብዳቤ ኪሱ ውስጥ አይከቱም፤ ማንም እንደማያምናቸው ያውቃሉ። ሁንዴ ራሱን የሚያስከስስ ደብዳቤ አይጽፍም። አስተርጓሚው ሥራ ማቆሙን ያላወቀ አንድ ሰው ብቻ አለ። ከእሑድ ጀምሮ ባቱ የነበረው ሰው። ቅዳሜ ኡርጌሳ አቦምሳ እናቱ ዘንድ ነበር። ፀሐይቱ፣ ቅዳሜ የዚህን ክፍል ቁልፍ ማን ወሰደ?»

«ጓድ ናቸው» አለች ፀሐይቱ። «ብቻዬን የምጽፈው አለኝ ብለው።»

«ባቱ ደውያለሁ። ሥልጠናው ያለቀው ረቡዕ ቀትር ላይ ነው። ሾፌርዎ አሥር ሰዓት ላይ አዳማ አውርዶዎታል። በክፍልዎ የተንጠለጠለውን የማማ ቁልፍ ይዘው፣ ስለ ዝርዝሩ እንነጋገር ብለው ልጁን ማማው ላይ አወጡት፤ ደብዳቤውን ኪሱ ከተው ገፈተሩት።»

«ስለ የትኛው ዝርዝር? ለምን ብዬ?» የተክለሃይማኖት ድምፅ ተሰነጠቀ።

ሻምበሉ የቅዳሜውን ወረቀት አነሳና ለሸዋወርቅ ሰጣት። ባዶውን ፊት ሳይሆን የታተመውን።

«ይህ ኡርጌሳ መጀመሪያ ያወጣው ዝርዝር ነው፤ ባለፈው ዓርብ ተለውጦ ወደ ቅርጫት ተጣለ። ኡርጌሳ መለወጡን ደርሶበት እናገራለሁ ብሎ ነበር። አሥራ አራተኛውን መስመር ያንብቡልን።»

ፊደሎቹን በጣቷ እየነካች ቀስ ብላ አነበበች።

«ገብረ… ወልድ… ተክለ… ሃይማኖት።»

ገብረወልድ የኃላፊው ልጅ ነው፤ ግምጃ ቤት ይሠራል። በሕይወቷ በሰው ፊት ያነበበችው የመጀመሪያ ስም ይህ ሆነ።

«የኔን ልጅ በልጅህ ለወጥክ» አለችው፣ አንተ ብላ። «ያ ልጅ እናገራለሁ ቢልህ ገደልከው። በልጄም ላከክህ። አንተ ማንበብ ከልጅነትህ ጀምረህ ይህን ነው የተማርክበት?»

የሁንዴ እጅ ተፈትቶ የተክለሃይማኖት ታሰረ። ሸዋወርቅ ልጇን አቅፋ ገና ሳትለቀው፣ የዘመቻ ጽሕፈት ቤቱ ተወካይ ዝርዝሩን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠ።

«ቁጥሩ ሠላሳ ሁለት ነው። ሠላሳ አንድ ይዤ አልሄድም።»

ማተሚያው አዲስ ዝርዝር ማውጣት ስለማይችል ተወካዩ በብዕር አንዱን ስም ሰርዞ ሌላውን ጻፈ። አንድ ደቂቃ አልፈጀበትም። ሸዋወርቅ ጽሑፉን አነበበችው። ማንበብ አለመቻል በተሻለኝ ነበር ብላ አሰበችና በሐሳቧ ተናደደች፤ ጥፋቱ የማንበብ አይደለም።

ቅዳሜ ሦስት ሰዓት ላይ መኪናው በፋብሪካው በር ቆመ። የገብረወልድ እናት ዘመናይ የመኪናውን ጎን ይዛ አልለቅም አለች፤ ባጫ ጣቶቿን አንድ በአንድ አላቀቀ። ዘመናይ ዞር ስትል ዓይኗ ከሸዋወርቅ ዓይን ጋር ተጋጠመ። ሸዋወርቅ መጥረጊያዋን ይዛ ቆመች።

ኡርጌሳ አቦምሳ ተቀበረ። ተክለሃይማኖት እስር ቤት ነው። ሁንዴ ቀረ። ገብረወልድ ሄደ።