በቀን ሦስት፣ ከምግብ በኋላ

ሐሙስ መጋቢት 20 ቀን፣ ከረፋዱ አራት ሰዓት ላይ፣ ከደብረ ማርቆስ ወጣ ብሎ በሚገኘው የሯጮች ማደሪያ አራት ሰዎች ነበሩ፤ አሰልጣኙ አለበል፣ ነርሷ ሕሊና፣ በካቴና የታሰረው ሯጭ የኋላሸት እና ኢንስፔክተር ሥራነሽ። ከየኋላሸት ጋር ክፍል የሚጋራው ሯጭ ይታያል ትናንት ንጋት ላይ ደም አስታውኮ አልጋው ላይ ሞቷል።

ለሥራነሽ በሳምንቱ ሦስተኛው ሬሳ ነበር። ወገቧን እያሻሸች የሐኪሙን ወረቀት እንደገና አነበበች። የልጁ ጨጓራ ቆስሎ ደምቷል። «ቫይታሚን ሲ» በሚለው ብልቃጡ ውስጥ የተገኘው ግን ነጭ፣ ሲበዛ ጨጓራን የሚያቆስል ኃይለኛ የሕመም ማስታገሻ ኪኒን ነው። እሑድ በሚደረገው ማጣሪያ ክለቡ የሚያሰልፈው አንድ ሰው ብቻ ነው፤ ይታያል ከሌለ ተራው የየኋላሸት ይሆናል። ባልደረቦቿ የኋላሸትን ያሰሩት ለዚህ ነው። ስምንት ሰዓት ላይ ፍርድ ቤት ይቀርባል።

በመጀመሪያ አሰልጣኙን ወደ ውጭ ጠራችው።

«እኔ ሰዓት እይዛለሁ እንጂ ኪኒን አላድልም» አለ አለበል። «ከረጅም ሩጫ በኋላ ሰውነታቸው ይዝላል፤ ጉንፋን በቶሎ ይይዛቸዋል። ቫይታሚን ይከላከልላቸዋል ብዬ አስገዛሁ። የምታድለው ሲስተር ናት።»

«እርስዎ እዚህ ነው የሚያድሩት?»

«ከተማ ነው። ጠዋት አስሮጣቸውና ሦስት ሰዓት ላይ ወደ ቤቴ እመለሳለሁ።»

«ሁዳዴ ነው። ልጆቹ ይጾማሉ?»

«ከልክያለሁ። ሠላሳ ኪሎ ሜትር በባዶ ሆድ አይሮጥም። እሺ ብለዋል፤ በቀን ሦስቴ ይበላሉ።»

ሥራነሽ ወደ ማብሰያ ቤቱ ጎራ አለች። ግድግዳው ላይ ቁርስ፣ ምሳ፣ እራት የሚል ፕሮግራም ተለጥፏል። ምድጃው ውስጥ ግን የትናንት አመድ ብቻ ነበር። ሳህኖቹ ደርቀው ተደርድረዋል። ሕሊና ተከትላት ገባች።

«ያደልሽው ምን ዓይነት ነው?»

«ብርቱካናማ፣ ጎምዛዛ። በቀን አንድ። ደግሞ እረፍትን አይተካም ብዬ ነበር፤ ይታያል ሁለት ሳምንት ሙሉ አስሏል።»

«ማን ሰማሽ?»

«ማንም።»

«ዛሬ ቁርስ ስንት ሰዓት በላችሁ?»

ሕሊና ምድጃውን አየች፤ ከዚያ ጫማዋን አየች።

የኋላሸት አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጦ ጠበቃት።

«ባለፈው ሳምንት ይታያል ላይ ምን ለውጥ አየህ?»

«ሳሉ አልተወውም። ጉልበቱ ግን ዳነ። ደረጃ ሲወርድ ግድግዳ መያዝ አቆመ። እኔማ ‹ቫይታሚኑ አድራሻ ተሳስቶ እግርህ ገባ› ብዬ ስቄበት ነበር።»

«ኪኒኑ ነጭ ሲሆን አልገረመውም?»

«‹የውጭ ነው፣ በቀን ሦስት፣ ከምግብ በኋላ ተብያለሁ› አለኝ። ማን እንደሰጠው አልነገረኝም። እንዳያወራ አስጠንቅቀውታል።»

«ሦስቱን መቼ መቼ ይውጥ ነበር?»

ልጁ ወደ በሩ ተመለከተ። «ኮች ከሰሙ ያባርሩናል።»

«ስምንት ሰዓት ላይ ዳኛ ፊት ትቆማለህ። ከዚያ ወዲያ ወዴት ሊያባርሩህ ነው?»

የኋላሸት ካቴናውን አየ። «ዘጠኝ ሰዓት ላይ» አለ ቀስ ብሎ። «ሦስቱንም አንድ ላይ።»

ሥራነሽ ሁሉንም ክፍሉ ውስጥ ሰበሰበቻቸው። እሷ ግን ተቀመጠች፤ ወገቧ መቆም አላስቻላትም።

«ሳልን ትቶ ጉልበትን የሚያድን ቫይታሚን የለም» አለች። «ኪኒኑን የሰጠው ሰው ጉልበቱ እንደታመመ አውቋል። ሊገድለው ቢፈልግ ‹ከምግብ በኋላ› ብሎ ለጨጓራው አይጠነቀቅለትም ነበር። የፈለገው እሑድ እንዲሮጥለት ነው። የኋላሸት ደግሞ ይታያል ቢሮጥ ቦታውን ያጣል እንጂ ምንም አይጠቀምም።»

አለበል ወደ ነርሷ ዞረ። «መድኃኒት የምታውቀው እሷ ናት።»

«ታውቃለች። ሌላም የምታውቀው ነገር አለ። ሲስተር፣ ምድጃው የሚነደው መቼ ነው?»

ሕሊና ጉንጯን በእጇ ጠረገች። «በዘጠኝ ሰዓት። በቀን አንዴ ነው የሚበሉት። እኔም አብሬያቸው እበላለሁ። ልጆቹ ለጾማቸው ብለው ለምነውኝ... ፕሮግራሙን ለእርስዎ ዓይን ነው የለጠፍነው፣ አሰልጣኝ።»

«እንግዲህ ‹በቀን ሦስት፣ ከምግብ በኋላ› የሚለው ሰው ሦስት ማዕድ አለ ብሎ ያመነ ነው» አለች ሥራነሽ። «እነዚህ ሁለቱ እንደሌለ ያውቃሉ። ከዚህ ቤት ያንን ያመነ አንድ ሰው ብቻ ነው። ይታያል የታዘዘውን አክብሯል፤ ማዕዱ አንድ ስለሆነ ሦስቱንም በእሱ ላይ ዋጠ። ቫይታሚን ስለመሰለው አልፈራም። ቀኑን ሙሉ ውኃ ሳይቀምስ ሮጦ በዋለ ሆድ፣ ሳምንት ሙሉ።»

አለበል ባዶው አልጋ ላይ ተቀመጠ።

«ጉልበቱን ደብቆኝ ነበር» አለ። «ከእግሩ አረጋገጥ አወቅሁት። ማስታገሻ መሆኑን ብነግረው እንቢ ይል ስለነበር ቫይታሚን ነው ብዬ ሰጠሁት። እስከ እሑድ ብቻ ነበር ያሰብኩት። ከምግብ በኋላ ብዬዋለሁ እኮ።»

«እሱም ከምግብ በኋላ ነው የወሰደው።»

ሥራነሽ ቁልፉን አውጥታ የየኋላሸትን ካቴና ፈታች።

አለበል ስምንት ሰዓት ላይ ፍርድ ቤት ቀረበ። ሕሊና ቃሏን ፈርማ ሰጠች። እሑድ ማጣሪያው ተካሄደ፤ የኋላሸት አልሮጠም።