የባለክሩ ክር

«ልጁ ከተቀበረ ሳምንት አልፎታል» አለች ሥራ አስኪያጇ ድምጿን ዝቅ አድርጋ። «ሥራውን ግን አላቆመም።»

መርማሪዋ እጇን አነሳች። በጣቢያው ስሟን የሚጠራት የለም፤ ሰው ወሬውን ሲያንደረድረው እያቋረጠች «ቆይ፣ ቆይ» ስለምትል «ቆይ ቆይ» የሚል ስም አውጥተውላታል። አሁንም አላስቀረችም።

«ቆይ፣ ቆይ። የሞተው ልጅ ነው ሥራ ያላቆመው?»

«ካላመኑኝ ይምጡና በዓይንዎ ይዩት።»

መሥሪያ ቤቱ አየር የሚያሰላ ነው። አየር ደግሞ ይሰላል እንዴ የሚል ካለ፣ መርማሪዋም መጀመሪያ እንደዚያው ብላ ነበር። ፎቅ ሊሠራ ወይም ከመሬት በታች የመኪና ማቆሚያ ሊቆፈር ሲል፣ አየሩ በየት ገብቶ በየት እንደሚወጣ፣ እሳት ቢነሳ ጭሱ ወዴት እንደሚሄድ መሐንዲሶቹ አስቀድመው በኮምፒውተር ያሰላሉ፤ ውጤቱም በሥዕል ይወጣል። ሰማያዊው ንጹሕ አየር ነው፤ ቀዩ ጭስ።

በሥራ ክፍሉ ግድግዳ ላይ ያለው ትልቅ ስክሪን ጠቁሮ ነበር። ሰው ሳይነካው በራ። ጣሪያው ዝቅ ያለ የመኪና ማቆሚያ ታየ፤ ከአንዱ ጥግ ቀይ ነገር ወጣ፣ ጣሪያውን ይዞ ተሳበ፣ ቁልቁል ወርዶ በሰው ቁመት ልክ ሁሉንም ሸፈነው። ከሥሩ ጽሑፍ መጣ፦ «ስሌቱ ተጠናቋል። ባለክሩ።»

ከጠረጴዛዎቹ ባንዱ የተቀመጠች ልጅ ፊቷን በሁለት እጇ ያዘች። ከወዲያ ማዶ አንድ ወጣት መሐንዲስ ብድግ ብሎ የስክሪኑን ገመድ ነቀለው።

«ሳይሞት ወረፋ ያስያዛቸው ስሌቶች ናቸው» አለች ሥራ አስኪያጇ። «የሚሠራቸው ማሽኑ እንደሆነ አጥቼው አይደለም። ግን እናቴ ትሙት፣ ስሙን ባየሁ ቁጥር ሰውነቴን ውርር ያደርገኛል።»

ነገሩ እንዲህ ነው። መብራት በጠፋበት አንድ ከሰዓት በኋላ፣ ባለክሩ የሚሉት ተለማማጅ መሐንዲስ ምድር ቤት፣ ስሌቱን የሚሠሩት ማሽኖች ባሉበት ክፍል፣ ወንበር ላይ እንደተቀመጠ ሞቶ ተገኘ። ቁስል የለበትም፤ በሩም አልተቆለፈም። ሐኪሙ የጄኔሬተር ጭስ ነው አለ። የመርማሪዋ ባልደረቦች ደግሞ በችኮላ ጨረሱት፦ ከሁለቱ ተለማማጆች የሚቀጠረው አንድ ብቻ ነው፤ ልጁ ተስፋ ቆርጧል፤ ጭስ ደግሞ ይሸታል፤ ሸቶት ያልወጣ ሰው መሞት የፈለገ ሰው ነው። የቀረው መዝገቡን መዝጋት ብቻ ነበር።

ያልተዘጋው በእህቱ ምክንያት ነው። ጠዋት ጠዋት እየመጣች ጣቢያው በር ላይ ካለው አግዳሚ ወንበር ላይ ትቀመጣለች፤ አታለቅስም፣ አትጮኽም። መርማሪዋ አንድ ቀን አጠገቧ ቁጭ አለች።

«ራሱን አልገደለም ልል አልመጣሁም» አለች እህቱ። «ገድሎም ከሆነ ይንገሩኝ። እናት አባት የለንም፤ እኔ ነኝ ያሳደግኩት። ራሱን ከገደለ ያጎደልኩበት ነገር አለ ማለት ነው። እሱን ሳላውቅ እንዴት አድርጌ ልኑር?»

መርማሪዋ ብድግ አለች። መዝገቡን ከባልደረቦቿ ተቀብላ መጣች።

ምድር ቤቱ ይቀዘቅዛል፤ ማሽኖቹ ያለ ዕረፍት ያጉረመርማሉ። ወንበሩ ካለበት አልተነሳም፤ የልጁ ሹራብ አሁንም መደገፊያው ላይ ነው፣ ማንም ሊያነሳው አልደፈረም። ከወንበሩ ጀርባ፣ ከግቢው ጋር በሚያዋስነው ግድግዳ ላይ፣ ክብ ቬንቲሌተር አለ። የብረት ፍርግርጉ ጥላሸት ለብሷል። በፍርግርጉ እምብርት ላይ በፕላስተር የተለጠፈ ነጭ ክር ተንጠልጥሏል።

መርማሪዋ ጣቷን በፍርግርጉ ላይ አሳለፈች፤ ጠቆረ። በክሩ ላይ አሳለፈች፤ ምንም የለም። «አንተ ደግሞ ከየት መጣህ?» አለችው ክሩን። ከዕቃ ጋር ማውራት የቆየ ልማዷ ነው፤ ዕቃ አይዋሽም ትላለች። ክሩን አንስታ በወረቀት ጠቀለለችው።

የቬንቲሌተሩ ማብሪያ ከክፍሉ ውጭ፣ ኮሪደሩ ላይ ነው። ወደ አንድ ወገን ሲዞር አየር ያስወጣል፤ ወደ ሌላው ሲዞር ያስገባል። ይህን ያስረዷት የመሥሪያ ቤቱ ኤሌክትሪሺያን ናቸው፤ ሲናገሩ እጃቸውን የት እንደሚያደርጉት የጠፋባቸው ጎልማሳ።

«ጄኔሬተሩ ግቢ ውስጥ፣ ከቬንቲሌተሩ አጠገብ ነው» አሉ። «ስለዚህ ጄኔሬተሩ ሲነሳ ማስወጫ ላይ መሆን አለበት። ማስገቢያ ላይ ከሆነ ጭሱን ይስበዋላ! ያን ቀን እኔ ራሴ ማስወጫ ላይ አድርጌ ነው የሄድኩት።»

«ልጁ ሞቶ ሲገኝስ?»

«ማስወጫ ላይ ነው። ደንግጬ መጀመሪያ ያየሁት እሱን ነው።»

«ቆይ፣ ቆይ፣ ጋሼ። ሲያስወጣ ከዋለ ይህ ጥላሸት ከየት መጣ?»

ሰውየው አንገታቸውን ደፉ። «እኔም እሱን ሳብሰለስል ነው የከረምኩት። ጥፋቱ በእኔ እንዳይላከክ ፈርቼ አፌን ያዝኩ። ልጆች አሉኝ።»

ፊቷን ይዛ የነበረችውን ልጅ ደረጃው ላይ አገኘቻት። ሁለተኛዋ ተለማማጅ እሷ ነች፤ ዓይኗ አብጧል።

«ሥራው ላንቺ ሆነ አሉ።»

«አልፈልገውም!» አለች ልጅቷ። «መብራት ሲጠፋ ከሁለታችን አንዳችን ወርደን ማሽኖቹን እንጠብቃለን፤ በተራ ነው። ያን ቀን ተራው የኔ ነበር። ልነሳ ስል አሠልጣኛችን አንደኛ ‹አንቺ ሪፖርቱን ጨርሺ፣ ባለክሩ ይውረድ› አለ። እኔ ነበርኩ እዚያ መቀመጥ የነበረብኝ።»

አንደኛ የሚሉት ገመዱን የነቀለውን ወጣት ነው። እሱም በቅርቡ ተለማማጅ ነበር፤ የመኪና ማቆሚያውን ስሌት ሠርቶ፣ ባስረከበው ሥዕል ተጨብጭቦለት ተቀጠረ። አሁን ተለማማጆቹን የሚያሠለጥነው እሱ ነው።

«ከባለክሩ ጋር ይዋደዱ ነበር?»

«እንዴታ! ባለክሩ ወተት ሲገዛ እንኳ፣ አንደኛ አሽትቶ ‹ደህና ነው፣ ጠጣ› ካላለው አይጠጣም። የሁለቱ ቀልድ ይመስለኝ ነበር።»

«ክሩስ?»

ልጅቷ ለመጀመሪያ ጊዜ ፈገግ አለች። «አየር በሚያልፍበት ሁሉ ይሰቅላል። ‹ኮምፒውተሩና ክሩ ከተጣሉ እኔ የክሩ ወገን ነኝ› ይላል። አንደኛ ደግሞ ‹ክርህን ለልብስ ሰፊ ስጥ፣ በስክሪን የማይታይ አየር የለም› እያለ ያሾፍበታል። ያን ቀን ጠዋት ‹የምድር ቤቱን ክር ሰው አንስቶብኛል፣ ክር ይኖርሻል?› ብሎኝ ነበር። አልነበረኝም።»

መርማሪዋ ፎቁን ክፍል በክፍል ዞረችው። ክሮቹ አቧራ ለብሰው በየቦታው አሉ፤ እያንዳንዱም የተለጠፈው በፍርግርጉ ጠርዝ ላይ ነው። ሰው በሌለበት ኮሪደር ውስጥ ሁሉም ባንድ ላይ ሲርገበገቡ ስታይ፣ ልጁ ገና አሁን በአጠገባቸው ያለፈ መሰላት። የሞተ ሰው አትፈራም፤ ግን እርምጃዋን አፈጠነች።

አንደኛ ሲጠየቅ አለቀሰ። እንባው የውሸት አልነበረም፤ ይህንንም ልብ አለች።

«ታናሽ ወንድሜ ማለት ነበር» አለ። «ሞቶ ያገኘሁትም እኔ ነኝ። መብራቱ መጣ፣ ጄኔሬተሩ ጠፋ፣ እሱ ግን ቀረ። ስወርድ… ያን ሁሉ ጭስ እየሸተተው ቁጭ ማለቱን ሳስበው እንቅልፍ አይወስደኝም። ሥራውን አለማግኘቱ ነው የገደለው።»

«ስክሪኑን ለምን ነቀልከው?»

«ለእህቱ ብዬ ነዋ! ማሽኖቹም ይጥፉ ብዬ ለምኜ ነበር፤ እምቢ አሉኝ። የሞተ ሰው ይረፍ እንጂ።»

ከዚያ የሄደችው የባለክሩ እህት ቤት ነው። ቃሉ እንዳይከብዳት እየተጠነቀቀች «ጭሱ እኮ ሳይሸተው አይቀርም» አለቻት።

እህቱ ቀና አለች። «ማንን? ወንድሜን? ወንድሜ እኮ ሽታ አያውቅም! በሕፃንነቱ ታሞ ከዳነ ወዲህ አፍንጫው ለጌጥ ነው። እንዳይስቁበት ለሰው አይናገርም እንጂ። ከሰል አንድጄለት ወደ ሥራ ስሄድ ስለምፈራ፣ የበሩ ጠርዝ ላይ ክር ሰቅዬ ‹ክሩ ወደ ውጭ ከነፈሰ አይዞህ፣ ተቀመጥ፤ ወደ ውስጥ ከነፈሰ ሮጠህ ውጣ› እለው ነበር። ክር ነገር የለመደው ከዚያ ነው።»

«ቆይ፣ ቆይ» አለች መርማሪዋ፤ ይህን ጊዜ ግን ለራሷ ነበር።

በማግስቱ ሁሉንም ምድር ቤት ሰበሰበቻቸው። እህቱ የወንድሟን ሹራብ ከወንበሩ አንስታ፣ ታቅፋው በሩ አጠገብ ቆመች። ቬንቲሌተሩ ጠፍቷል። መርማሪዋ ከቦርሳዋ ክርና ፕላስተር አወጣች።

«አየሩ ወዴት እንደሚሄድ ማየት እፈልጋለሁ። በየተራ አንዳንድ ክር ስቀሉልኝ። ሥራ አስኪያጇ ይቅሩ፤ ያን ቀን ሙሉ ከእንግዶች ጋር ስብሰባ ላይ ነበሩ።»

ኤሌክትሪሺያኑ የፍርግርጉ ጠርዝ ላይ ለጠፉ። ተለማማጇም ጠርዙ ላይ ለጠፈች። አንደኛ «የልጅ ጨዋታ! ይልቅ መሃሉ ላይ ነው የሚበረታው» ብሎ ሳቅ አለና ክሩን መሃል ለመሃል፣ እምብርቱ ላይ ለጠፈው።

ኤሌክትሪሺያኑ ኮሪደሩ ላይ ወጥተው ማብሪያውን አዞሩ። ቬንቲሌተሩ ተነሳ። የጠርዙ ክሮች በፍርግርጉ ቀዳዳ ሾልከው ወደ ውጭ ተወጠሩ። የመሃሉ ክር ዝም ብሎ ተንጠልጥሎ ቀረ።

«መሃሉ ሞተሩ ነው፤ አየር አያልፍበትም» አለች መርማሪዋ። «እኔም ትናንት ክር ይዤ ስሞክር ነው ያወቅኩት። በስክሪናችሁ ላይ ግን ቬንቲሌተር ከዳር እስከ ዳር እኩል የሚነፍስ ክብ ሥዕል ነው። ቬንቲሌተርን በስክሪን ብቻ የሚያውቅ ሰው መሃሉ ላይ ይሰቅላል። ባለክሩ በሞተበት ክፍል ያገኘሁት ክር የተሰቀለው መሃሉ ላይ ነበር።»

«ይሄ ማስረጃ ነው እንዴ?» አለ አንደኛ።

«ቆይ፣ ቆይ፣ አልጨረስኩም። ፍርግርጉ ጥላሸት ለብሶ ሳለ ክሩ ግን ነጭ ነበር፤ ስለዚህ የተሰቀለው ከጭሱ በኋላ ነው። ጥላሸቱ ጭሱ በዚህ መግባቱን ይናገራል፤ ማብሪያው ግን ማስወጫ ላይ ተገኘ። እንግዲህ አንድ ሰው ወደ ማስገቢያ አዞረው፣ ኋላም መለሰው ማለት ነው። ማብሪያው ደግሞ ኮሪደር ላይ ነው። የሞተ ልጅ ተነስቶ አይመልሰውም። ስለዚህ ራሱን አልገደለም።»

በሩ አጠገብ እህቱ ትንፋሿን በረጅሙ ለቀቀች፤ ፊቷን ሹራቡ ውስጥ ቀበረች።

«ክሩን አስቀድሞ ያነሳውም ያው ሰው ነው፤ ክሩ ካለ ልጁ አይቶ ይወጣላ። ኋላ፣ የፊተኛው የት እንደነበረ ልብ ሳይል፣ ሌላ ክር የሰቀለው ደግሞ፣ ‹ክሩን እያየ፣ እያወቀ ተቀመጠ› እንድንል ነው። አሁን አንድ ጥያቄ ቀረ። ጭስ የሚሸተውን ሰው በጭስ ልግደል የሚል የለም፤ ሮጦ ይወጣል። ይህን ያሰበው ባለክሩ ሽታ እንደማይለይ የሚያውቅ ሰው ነው። እህቱ ታውቃለች። ሌላስ ማን ያውቃል?»

ተለማማጇ ቀስ ብላ ወደ አንደኛ ዞረች። «ወተቱ» አለች።

በዚህ መሃል በማሽኖቹ መካከል ያለው ትንሽ ስክሪን በራ። ያው የመኪና ማቆሚያ፣ ያው ቀይ። «ስሌቱ ተጠናቋል። ባለክሩ።» አንደኛ ወደ ኋላ ሸሸ።

«ይህ ያንተ ሥራ አይደለም እንዴ?» አለች ሥራ አስኪያጇ። «አንተ ያስረከብከን ሰማያዊ ነበር።»

«ሰማያዊ ሳለ አቁሞት ነዋ» አለች መርማሪዋ። «ተለማማጇ ትናንት ከፍታ አሳየችኝ። ስሌቱ ሳያልቅ አቁሞ፣ አልቋል ብሎ ንጹሑን ሥዕል አስረከበ። ባለክሩ እስከ መጨረሻው አስኬደው። እሳት ቢነሳ እዚያ ውስጥ ያለው ሰው ሁሉ ያልቃል።»

አንደኛ ወንበሩ ላይ ዘፍ አለ፤ የማን ወንበር እንደሆነ ሲያስታውስ ደግሞ እንደተቃጠለ ሰው ዘሎ ተነሳ።

«መጀመሪያ ለእኔ ነው የነገረኝ» አለ። «‹አንተው ንገራቸውና አስተካክለው፣ እኔ ለማንም አልተነፍስም› አለኝ። እሺ አልኩት። ግን ብናገር ያባርሩኛል! በተለማማጅነት ስንት ቦታ እንደተንከራተትኩ ማን ያውቅልኛል? ራሱን እንዲስት ብቻ ነበር የፈለግኩት፤ ስሌቶቹን አጥፍቼ ላስነሳው። ስወርድ ኮምፒውተሩ ተቆልፏል። እሱም አልነቃም።»

እህቱ ሹራቡን እንደታቀፈች ፊቱ ድረስ መጣች። ትመታዋለች ብለው መርማሪዋና ኤሌክትሪሺያኑ ጠጋ አሉ። አልመታችውም።

«አንተ ነህ?» አለችው። «‹በሥራ ቦታ ታላቅ ወንድም አገኘሁ፣ ወተቴን ሳይቀር ያሸትልኛል› ብሎኝ ነበር። እኔም በየቀኑ ስመርቅህ ነው የከረምኩት። ወተቱን ካሸተትክለት፣ ጭሱን ለምን አላሸተትክለትም?»

መርማሪዋ ኮሪደሩ ላይ ያቆመቻቸውን ፖሊሶች ጠርታ ወደ አንደኛ ጠቆመች። ፖሊሶቹ ይዘውት ሲወጡ ማንም ቀና ብሎ አላየውም።

እህቱ ወደ ቬንቲሌተሩ ሄደች። የመሃሉን ክር ፕላስተሩን በጥፍሯ ልጣ አነሳችና ጠርዙ ላይ፣ በሩ ላይ ትለጥፍ በነበረበት አኳኋን፣ አውራ ጣቷን ጫን አድርጋ ለጠፈችው። ክሩ ተወጠረ። ከዚያ ሹራቡን አጣጥፋ ወንበሩ ላይ አስቀመጠችና፣ ልጁ እዚያው ያለ ያህል በለሆሳስ ተናገረች።

«ወደ ውጭ ነው የሚነፍሰው። አይዞህ፣ ተቀመጥ።»