የሰባተኛው ጨዋታ ዳኛ

ሽማግሌው የተገኙት በእንግዳ ማረፊያው ጓሮ፣ ከረጅሙ አለት ሥር በጀርባቸው ተንጋለው ነው። ጥቁር ኪሞኗቸው ከአንገት እስከ እግር በስብሶ ከሰውነታቸው ጋር ተጣብቋል። ከጆሯቸው ኋላ ያለው ቁስል ታጥቦ ነጥቷል።

መርማሪ ዋኩይ ቶሞኤ ጎንበስ ብላ የሟቹን እጅጌ ጨመቀች። ውሃ ተንጠባጠበ። ቀና ብላ ሰማዩን አየች። ጠራ ያለ የመፀው ሰማይ ነው። ሰሞኑን በቴንዶ ከተማ ጠብታ አልወረደም።

«ምን አርሷቸው ነው?»

«እባክዎን ድምፅዎን ዝቅ ያድርጉ» አለ ከኋላዋ የቆመው ሰው። የውድድሩ አዘጋጅ ኪዶኮሮ ነው። እሱ ራሱ የሚያወራው በሹክሹክታ ነበር። «ጨዋታው አላለቀም።»

«ሰው ሞቷል፣ አቶ ኪዶኮሮ።»

«አውቃለሁ። መምህር ሶባጂማ የጨዋታው ዳኛ ነበሩ። በሕይወት ቢኖሩ ራሳቸውም እንዲቆም አይፈቅዱም።»

«እሳቸውን መጠየቅ አልችልም። ሌሎቹን ግን መጠየቅ አለብኝ።»

ኪዶኮሮ በላብ የራሰ ግንባሩን ጠረገ። ከጓሮው ማዶ በወረቀት በር ወደተዘጋው ክፍል በዓይኑ አመለከተ። እዚያ ውስጥ ሁለት ሰዎች ቼዝ በሚመስለው የሾጊ ጨዋታ ሰሌዳ ፊት ተንበርክከዋል። ከስድስቱ ጨዋታዎች ሦስቱን አንዱ፣ ሦስቱን ሌላው ወስዷል። ይህ ትናንት የተጀመረው ሰባተኛውና የመጨረሻው ነው፤ ያሸነፈ ማዕረጉን ይወስዳል። ባለማዕረጉ ናሩሴ ገና ወጣት ነው። ተፎካካሪው ኡቡካታ ግን ዕድሜው ወደ ሃምሳ ተጠግቷል። ከዚህ በፊት ሦስት ጊዜ እዚህ ደርሶ ሦስት ጊዜ ባዶ እጁን ተመልሷል።

«አንዱን ተጫዋች አስነስቼ ብጠይቅስ?»

«ጨዋታውን አቋርጦ የተነሳ ተሸናፊ ነው። ደንቡ ነው። በኋላ ንጹሕ ሆኖ ቢገኝ እንኳ የሚመለስለት ነገር የለም።» ኪዶኮሮ ትንሽ አመነታ። «የሚያስነሱት ደግሞ ኡቡካታን ይመስለኛል።»

«ለምን?»

«ከምሳ በኋላ ጨዋታው እንደቀጠለ ወጥቶ ብዙ ቆየ። ጠዋትም እንደዚያው። ተጫዋች የራሱ የማሰቢያ ጊዜ እየተቆጠረበት ለአፍታ መውጣት ይችላል፤ ግን... ወሬ አለ። ስልክ ደብቆ ከኮምፒውተር ምክር ይጠይቃል ይባላል።»

«ማነው የሚለው?»

«ስም ባልጠራ ይሻለኛል።»

ዋኩይ ጥርሷን ነከሰች። እዚህ ከደረሰች ጀምሮ የገጠማት ይኸው ነው። ጫማሽን አውልቂ፣ በእግር ጣትሽ ሂጂ፣ የፖሊሶቹ ሬዲዮ ይዘጋ። ሁሉም አንገቱን ሰብሮ ይቅርታ ይጠይቃታል፤ የሚነግራት ግን የለም። ሐኪሙ እንኳ ያላት ይህን ብቻ ነው፦ ሽማግሌው ከምሳ ሰዓት በኋላ ከአለቱ ጫፍ ወድቀዋል፤ ደረታቸው ላይ የተገፉበት የሚመስል ምልክት አለ፤ ትክክለኛ ሰዓቱን መናገር አይቻልም።

ጨዋታውን ማስቆም ሥልጣኗ ነበር። አላስቆመችም። አንድ ፖሊስ በካልሲው በሩ ላይ እንዲቆምና ኡቡካታ በወጣ ቁጥር እንዲከተለው አዘዘች። ፍትሐዊ ውሳኔ መስሏት ነበር።

*

በመሰብሰቢያው አዳራሽ ተመልካቹ ጨዋታውን በትልቅ ስክሪን ይከታተላል። መድረኩ ላይ ሆኖ የሚያብራራው ኢሪያ፣ ራሱም የታወቀ ተጫዋች ነው። ዋኩይ ዕረፍት ሲወጣ ጠብቃ ከመጋረጃው ጀርባ አገኘችው።

«ከኡቡካታ ጋር ትተዋወቃላችሁ?»

«መተዋወቅ ብቻ! የአንድ መምህር ተማሪዎች ነን። አንድ ክፍል ተኝተን፣ አንድ ወለል ጠርገን ነው ያደግነው።»

«ማን ይበልጥ ነበር?»

ኢሪያ ሳቀ። «ልጆች ሳለን እኔ። አሁን እሱ ሰሌዳ ፊት ተቀምጧል፣ እኔ ማይክ ይዣለሁ። መልሱን ራስዎ ያውጡት።»

«በምሳ ሰዓት የት ነበሩ?»

«ክፍሌ። በመንገዱ በኩል ያለው ነው። ጠዋት በመጀመሪያው ባቡር ነው የመጣሁት፤ ደክሞኝ ጋደም አልኩ።»

«ከዚያስ?»

ኢሪያ መጋረጃውን ገልጦ አዳራሹን አየና መልሶ ዘጋው። «መናገር አልፈልግም ነበር። ጨዋታው ከቀጠለ በኋላ ወደ መድረክ ስመጣ ከኮሪደሩ መስኮት ወደ ጓሮው አየሁ። ኡቡካታና መምህር ሶባጂማ አለቱ ላይ ቆመው ይጨቃጨቁ ነበር።»

«ምን ይባባሉ ነበር?»

«በፏፏቴው ጩኸት ምን ይሰማል? አፋቸው ሲንቀሳቀስ ብቻ ነው ያየሁት።»

«እስካሁን ለምን ዝም አሉ?»

«ጓደኛዬ ነው» አለ ኢሪያ። «ይህ የመጨረሻ ዕድሉ መሆኑን ማን እንደኔ ያውቃል?»

ዋኩይ ወደ ጓሮው ተመለሰች። አለቱ አጠገብ ቆማ አዳመጠች። ከወረቀቱ በር ጀርባ አንዲት የእንጨት ጠጠር ሰሌዳውን ስትመታ፣ ጠብ የምትል ቀጭን ድምፅ እስከዚህ ድረስ ተሰማቻት። ሌላ ድምፅ የለም። ከአለቱ በላይ፣ በእርጥበት አረንጓዴ በለበሰ ድንጋይ መሃል የቧንቧ አፍ ይታያል።

በቀጥታ ወደ ወጥ ቤት ሄደች።

የማረፊያው ባለቤት ወይዘሮ ሂራኪ ለተጫዋቾቹ የሚቀርበውን የተላጠ የፒር ፍሬ በሳህን እየደረደሩ ነበር።

«እመቤት፣ ጓሮው ውስጥ ፏፏቴ አለ እንዴ?»

«እሱን ደግሞ አያንሱብኝ!» አሉ ወይዘሮ ሂራኪ ቢላዋውን አስቀምጠው። «በእሱ ሰበብ ያልወቀሰኝ ሰው የለም። ከውድድሩ በፊት ተጫዋቾቹ ክፍሉን ያዩ የለም? መብራቱን፣ ሰሌዳውን፣ ሁሉን ይፈትሻሉ። ያኔ ኡቡካታ ‹ውሃው ይረብሸኛል፣ ይዘጋልኝ› አለ። ተጫዋች ካለ አለ ነው። አምና የመጣው ደግሞ የግድግዳ ሰዓቴን አስነቅሎኛል።»

«እና ዘጉት?»

«ዘጋሁት። ግን ሌሎቹ እንግዶቼ የመጡት ፏፏቴ ለማየት ነው። ምን ልበላቸው? ተጫዋቾቹ ምሳ ሲወጡ እከፍተዋለሁ፤ ከመመለሳቸው በፊት እዘጋዋለሁ። ማጥፊያው እዚሁ ከምድጃው አጠገብ ነው።»

«ሲዘጉት ሬሳው አልታየዎትም?»

«ከዚህ ምን ይታያል? እንግዶቹም ፎቅ ላይ ሆነው ነው የሚያዩት፤ የአለቱን ሥር ጥዱ ይጋርደዋል።»

ዋኩይ ሁለት እጇን ጠረጴዛው ላይ ጣለች። «እመቤት፣ ሰውየው ለምን እንደራሱ ከመጣሁ ጀምሮ እየጠየቅኩ ነው። ይህን የሚነግረኝ ሰው ጠፋ?»

«የማያውቅ ያለ መች መሰለን?» አሉ ወይዘሮ ሂራኪ ተገርመው። «ፍተሻው ላይ እኮ ሁላችንም ነበርን።»

«ኢሪያስ?»

«እሱማ ዛሬ ጠዋት ነው የመጣው። ሻንጣውን እንኳ የያዝንለት እኛ ነን፤ እሱ በቀጥታ ወደ መድረክ ሄደ።»

ዋኩይ ቀስ ብላ ተቀመጠች። «መምህር ሶባጂማን መጨረሻ ያዩአቸው መቼ ነው?»

«ምሳ እንደተወጣ። ኑድላቸውን በልተው ‹አንድ ሰው ላናግር ነው› ብለው ወጡ። ተቆጥተው ነበር።» ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። «ጠዋት መጥተው ‹ኡቡካታ ስልክ ደብቋል የሚል አለ፣ መጸዳጃ ቤቱን ፈትሺ› አሉኝ። አብረን ፈተሽን፤ ምንም የለም። ያኔ እውነቱን ነገርኳቸው።»

«የምን እውነት?»

ወይዘሮ ሂራኪ ወደ በሩ አዩ። «እንዳልናገር አስምሎኝ ነበር። ኡቡካታ ታሟል። ጨጓራው ነው። የሚወጣው ሊያስመልስ ነው። ‹ናሩሴ ካወቀ ሆን ብሎ ጨዋታውን ያረዝምብኛል› አለኝ። በምሳ ሰዓትማ አንድ ጉርሻ አልቀመሰም፤ እኔ ነኝ ራሱን ደግፌ የዋልኩት። መምህሩ ከወጡ ጀምሮ ውሃውን ልዘጋ እስክነሳ ከጎኑ ንቅንቅ አላልኩም።»

«መምህሩ ይህን ሲሰሙ ምን አሉ?»

«‹ይህን ያወራ ሰው ዛሬ ማታ በሁሉ ፊት አንገቱን ይደፋል› አሉ። ማን እንደሆነ ግን አልነገሩኝም።»

*

ዋኩይ አሁን አውቃለች። ግን ወደዚያ ክፍል ገብታ ማንንም ልትነግር አትችልም። ጋዜጠኞች በተሰበሰቡበት የመጠባበቂያ ክፍል ስክሪን ፊት ቆመች። ኡቡካታ ፊቱ አመድ መስሏል። የማሰቢያ ጊዜው አልቆ፣ እያንዳንዱን እርምጃ በአንድ ደቂቃ ውስጥ መጫወት አለበት። ጋዜጠኞቹ ትንፋሻቸውን ውጠዋል።

«አሸንፏል!» አለ አንዱ። «ካየው አሸንፏል!»

ከአዳራሹ የኢሪያ ድምፅ በድምፅ ማጉያ ይሰማል። «የማረከውን ‹ብር› የተባለ ጠጠር ከናሩሴ ንጉሥ ጀርባ ይጣል። አንድ መንገድ ብቻ ነው ያለው።»

ኡቡካታ እጁን ዘረጋ። ከዚያ ዓይኑ ወደ በሩ ሄደ። የፖሊሱ ጥላ በወረቀቱ ላይ ያርፋል። እጁ አየር ላይ ተንሳፈፈ፤ ሰከንዶቹ ተቆጠሩ፤ ሌላ ጠጠር አንስቶ ሌላ ቦታ መታ። በመጠባበቂያው ክፍል ሁሉም በአንድ አፍ «አይ!» አለ።

ዋኩይ ሾጊ አትችልም። ጥላውን ግን አይታለች። እዚያ ያቆመችው እሷ ናት።

ብዙ አልቆየም። ኡቡካታ መዳፉን ከምርኮዎቹ ማስቀመጫ ላይ አሳርፎ ጎንበስ አለ። «ተሸንፌያለሁ።»

*

እንደ ልማዱ ሁለቱ ተጫዋቾች ጨዋታውን ከመጀመሪያው ጀምረው ሊገመግሙ ጠጠሮቹን መለሱ። ኢሪያም ከአዳራሹ ተጠርቶ መጣ። ኪዶኮሮና ወይዘሮ ሂራኪ በግድግዳው ጥግ ተቀመጡ። ግምገማው ኡቡካታ ወደተሳሳተበት እርምጃ ሲደርስ ዋኩይ በሩን ዘጋች።

«አንድ ነገር ልለምናችሁ። ዝም በሉና አዳምጡ።»

አዳመጡ።

«አቶ ኢሪያ፣ ምን ይሰማል?»

«ምንም።»

«ምንም። ትናንትም ዛሬም በጨዋታ ሰዓት ከዚህ ክፍል የሚሰማ ነገር አልነበረም። አቶ ኡቡካታ ስለጠየቁ ፏፏቴው ተዘግቷል። የሚከፈተው በምሳ ዕረፍት ብቻ ነው።» ወደ ሰሌዳው ጠጋ ብላ ተንበረከከች። «መምህር ሶባጂማ ሲገኙ በስብሰው ነበር። ጨዋታው ከቀጠለ በኋላ ወድቀው ቢሆን ደረቅ ሆነው ነበር የማገኛቸው። ዕረፍቱ ሲጀመር ደግሞ ወይዘሮ ሂራኪ ዘንድ ምሳ በልተዋል። ስለዚህ የሞቱት በዕረፍቱ ውስጥ ነው። በዚያ ሰዓት አቶ ናሩሴና አቶ ኪዶኮሮ ከጋዜጠኞች ጋር ነበሩ። አቶ ኡቡካታ በክፍላቸው ከወይዘሮ ሂራኪ ጋር ነበሩ።»

«እኔም ክፍሌ ነበርኩ ብያለሁ» አለ ኢሪያ።

«ብለዋል። ከዚያ ደግሞ ጨዋታው ከቀጠለ በኋላ ኡቡካታና ሟቹ ሲጨቃጨቁ አየሁ፣ ፏፏቴው ግን ድምፃቸውን ዋጠው ብለዋል። ያኔ ፏፏቴ አልነበረም።»

«ነፋስ ይሆናላ! ሰምቼ ተሳስቼ ይሆናል።»

«ነፋስ ኪሞኖ አያበሰብስም። ፍተሻው ላይ የነበረ ሰው ሁሉ ውሃው መዘጋቱን ያውቃል፤ እንዲህ ብሎ ሊዋሽ አይችልም። እርስዎ ዛሬ ነው የመጡት። ያ ፏፏቴ ሲወርድ ያገኙት አንድ ጊዜ ብቻ ነው፤ በምሳ ሰዓት፣ እዚያ ጓሮ ውስጥ። ሁልጊዜ የሚወርድ መሰለዎት።» ወደ ኪዶኮሮ ዞረች። «አሁን ስሙን ይጥሩልኝ። የስልኩን ወሬ የነገረዎት ማነው?»

ኪዶኮሮ ወለሉን እያየ «ኢሪያ» አለ።

ናሩሴ አንገቱን ቀና አድርጎ ኡቡካታን አየ። «የምን ስልክ?»

«ምንም ስልክ የለም» አለች ዋኩይ። «መምህሩም ይህን አረጋግጠው ነው ሊያናግሯቸው የሄዱት።»

ኢሪያ የመለሰው ለዋኩይ አልነበረም፤ ለኡቡካታ ነበር።

«ማታ በሁሉ ፊት ትሰግድለታለህ አሉኝ። ለአንተ። ገፋ አደረግኳቸው፤ አለቱ ያዳልጥ ነበር። ከዚያ ምንም አላስታውስም... ማይኩን እንደያዝኩ ነው የማውቀው።»

«ለምን አወራህብኝ?» አለ ኡቡካታ። የተናደደም አይመስል፤ ደክሞታል። «አንተ እንኳ።»

«ስትወጣ አየሁህ። ስትመለስ ጥሩ ጥሩውን ትጫወታለህ። በራስህ ጭንቅላት እንደሆነ ማመን አቃተኝ።»

ዋኩይ ፖሊሶቹን በዓይኗ ጠራች። ኢሪያ ሊነሳ ሲል ሰሌዳው ላይ ዓይኑ ተተከለ። ግምገማው የቆመው ልክ እዚያችው ቦታ ላይ ነበር። ሳያስበው እጁን ዘረጋ። ፖሊሱ ሊይዘው ሲል ዋኩይ «ተወው» አለች።

ኢሪያ ከኡቡካታ ምርኮዎች መካከል ብሩን አነሳና ከንጉሡ ጀርባ መታው። ጠብ አለ።

ናሩሴ ራሱን ነቀነቀ። «ይህን ቢጫወቱት እጄን እሰጥ ነበር።»

ኡቡካታ ጠጠሯን ጎንበስ ብሎ አያት። «መድረክ ላይ ተናግረኸው ነበር?»

«ተናግሬዋለሁ። አዳራሹ ሙሉ ሰምቷል።»

«እኔ ብቻ ነኝ ያልሰማሁት» አለ ኡቡካታ።

ዋኩይ ስለ ፖሊሱ ጥላ ልትነግረው አፏን ከፈተች፤ ምን ብላ እንደምትጀምር ግን አላወቀችም። ኢሪያን ይዘው ወጡ። ወይዘሮ ሂራኪ ከበሩ ዘወር ብለው፣ ከልማድ በቀረ ሹክሹክታ ጠየቁ፦

«ጨዋታው አልቋል... ውሃውን ልክፈተው?»

ኡቡካታ ጠጠሯን ከሰሌዳው አንስቶ ወደ ቦታዋ መለሳት።

«ትንሽ ይቆዩልኝ» አለ። «ገና እያሰብኩ ነው።»