ከመዝሙሩ ጋር የተጫነው ጸሎት

እስቲ ስለ አንድ ቤት ላውራችሁ። ቺሮ ውስጥ፣ ከገበያው ወደ ላይ ሲወጡ፣ ሰው ሁሉ «የእነሱን ዓይነት ትዳር ስጠኝ» እያለ የሚያልፈው ቤት ነበር። አባወራው አቶ ቶላ ልብስ ሰፊ ነው፤ ቀን ቀን በረንዳ ላይ የስፌት መኪናውን ይረግጣል፣ እሑድ እሑድ ደግሞ ክራቫቱን አስሮ ከቤተ ክርስቲያኑ ሽማግሌዎች ጋር ከፊት ይቀመጣል። ሚስቱ ወይዘሮ ከበደች የመዘምራኑ መሪ ነበረች። ድምጿ! ወይ ድምጿ! ሰው ያላወጣውን መዝሙር እቤቷ ልብስ ስታጥብ ታወጣለች፣ በማግስቱ ትረሳዋለች። እግዚአብሔር የሰጣቸው አንድ ልጅ ብቻ ናት፣ እሴት። ለዓይናቸው የሚሳሱላት፣ እነሱ ሳይለብሱ ያለበሷት ልጅ! ታዲያ ያንን ቤት ያፈረሰው ሌባ ይመስላችኋል? ጠላት ይመስላችኋል? ምነው በሆነ!

እሴት በኮምፒውተር ትምህርት ተመርቃ ሥራ ብታጣ፣ አባቷ መናኸሪያው አጠገብ አንዲት ጠባብ ክፍል ተከራየላት። አንድ ኮምፒውተር፣ አንድ ካርድ ሪደር፣ በሩ ላይ በቀይ ቀለም «ሚሞሪና ፍላሽ እንጭናለን»። ጊዜው 2006 ዓ.ም. ነው፤ ከተማው በሙሉ ዘፈኑን በኪሱ ይዞ መዞር የጀመረበት ዘመን። እሴት ሥርዓት ትወድ ነበርና ኮምፒውተሯ ውስጥ ሁሉም ቤት ቤቱን ይዟል፤ የኦሮምኛው ዘፈን ለብቻው ፎልደር፣ መንዙማው ለብቻው፣ መዝሙሩ ለብቻው። ወይዘሮ ዙለይኻ ለልጇ ሠርግ ዘፈን ልታስጭን መጥታ «ማሻአላህ፣ ይህቺ ልጅ እጇ ብሩክ ነው» ብላ መርቃት ሄዳለች።

አንድ ቅዳሜ እሴት ለእናቷ ደስታ አሰበች። «እማዬ የምታወጣቸው መዝሙሮች ለምን ጠፍተው ይቀራሉ?» አለች በልቧ። ስልኳን ድምፅ እንዲቀዳ ከፍታ ከብርጭቆ መደርደሪያው ላይ ደበቀችውና ሱቋ ሄደች። ከበደች ብቻዋን የሆነች መስሏት ዘመረች፣ ዘመረች፣ ከዚያ እንደ ልማዷ ተንበርክካ ድምጿን አውጥታ መጸለይ ጀመረች። ምሳ ሰዓት ላይ እሴት ስልኩን አነሣች፤ መጀመሪያውን ሰማች፤ መዝሙር ነው፣ ደስ አላት። እስከ መጨረሻው አልሰማችውም። አየ ጉድ! መጨረሻውን ብትሰማው ኖሮ እኔም ይህን ታሪክ ባላወራሁ። ሱቅ ሄዳ ወደ ኮምፒውተሩ ገለበጠችውና በኋላ ቆራርጬ አስተካክለዋለሁ ብላ መዝሙሩ ፎልደር ውስጥ አስቀመጠችው።

አሰግድ የሚባለው የባጃጅ ሹፌር የመጣው በዚያው ዕለት ነው። «መብራት ሳይሄድብን፣ የመዝሙሩን ፎልደር እንዳለ ጫኚልኝ!» አላት ፍላሹን እየወረወረ። ከሁለት ቀን ጨለማ በኋላ መብራት የመጣበት ቀን ነበር፣ ወረፋው እስከ በሩ ደርሷል። እሴት መርጣ አልጫነችም። ሁሉንም በአንዴ ያዘችና ኮፒ አደረገችው። በቃ። ከአሰግድ ፍላሽ ወደ ጓደኛው፣ ከጓደኛው ስልክ በብሉቱዝ ወደ ሌላው፣ ከዚያ እርስ በርሳቸው ወደሚቀዱት ወደ ሌሎቹ ጫኝ ቤቶች... ቦርደዴ ደረሰ፣ በደሳ ደረሰ።

ሁለት ሳምንት አለፈ። ከበደች ከገበያ ስትመለስ ዘንቢሏን ጭና የአሰግድ ባጃጅ ውስጥ ገባች። የመዝሙሩ ተራ ደረሰና የገዛ ድምጿ ከስፒከሩ ወጣ! ከጎኗ የተቀመጠችው ሴት «ይህቺ ዘማሪ ማናት? እንዴት አንጀት ትበላለች!» ስትል ከበደች ግራ ገብቷት፣ ግን ደግሞ ደስ ብሏት፣ አንገቷን ደፍታ ፈገግ አለች። ውሃ ሲወስድ እያሳሳቀ ነው ይባል የለ? መዝሙሩ አለቀና ጸሎቱ ቀጠለ። «ጌታ ሆይ፣ ሚኤሶ ቡና ቤት የሠራሁባቸውን ሁለት ዓመታት አንተ ታውቃለህ። እዚያ የወለድኳትን፣ በሦስት ወሯ የሞተችብኝን፣ ስም እንኳ ሳላወጣላት የቀበርኳትን ልጄን አንተ ታውቃለህ። ቶላ አያውቅም። እኔ ከበደች እንዴት ብዬ ልንገረው...»  ሴትዮዋ ቀስ ብላ ዞራ አየቻት። «ወራጅ!» አለች ከበደች። ዘንቢሏን እዚያው ትታ፣ ነጠላዋን እስከ ዓይኗ ተከናንባ፣ በእግሯ ወጣች።

ከዚያ በኋላማ ሰው እየፈለገ ሰማው። ምን ዓይነት ጆሮ ነው የሰጠን? መዝሙሯን የዘለለ ሁሉ ጸሎቷን ደጋግሞ አዳመጠ! አቶ ቶላም በረንዳው ላይ ሱሪ እየጠቀመ ከጎረቤት ሱቅ ሰማው። ቤት ሲገባ አልጮኸም። ቢጮኽ በተሻለ። ከበደች ፊት ቆመ።

«ሃያ አራት ዓመት አንድ ትራስ ላይ ተኝተን...» አላት፣ «ከተማው ከሰማው በኋላ ልስማው? ይህን ያህል ጨካኝ ነበርኩብሽ?»

ከበደች መሬት መሬት እያየች አለቀሰች። «ይህን ነገር ከእግዚአብሔር ሌላ የምታውቀው የሺሐረግ ብቻ ናት» አለች። «ለሌላ ለማንም አልተናገርኩም። አብረን ስንጸልይ ቀድታ የሸጠችኝ እሷ ናት።»

የሺሐረግ ማለት ለከበደች እህት ማለት ናት። ባሏ የሞተባት፣ ጎመንና ቲማቲም ሸጣ የምታድር፣ አሥራ ስምንት ዓመት አብራት የጸለየች ሴት! እሴት እጓዳው በር ላይ ቆማ ሁሉንም ሰማች።  ቀጂዋ ማን እንደሆነች፣ ጫኚዋ ማን እንደሆነች በዚያች ቅጽበት ገባት። አፏን ከፈተች... ዘጋችው። ወደ ሱቋ ሮጣ ከኮምፒውተሩ አጠፋችው፣ ከስልኳም አጠፋችው። ከከተማው ግን በየትኛው ቁልፍ ይጥፋ? ካፍ ከወጣ አፋፍ!

በማግስቱ የሺሐረግ እየሮጠች መጣች። «ከቤ፣ ኦቦሌቲ ኮ፣ እህቴ! እኔ ስልክ ማንሳትና መዝጋት እንጂ መቅዳት የት አውቄ? ልጅሽ ትመስክር፣ ቁጥር እንኳ የምትፈልግልኝ እሷ አይደለችም?» ብላ እሴትን አየቻት። ሁለቱም አዩአት። እሴት ዓይኗን ሰበረች። ያቺን ዝምታ ከበደች እንደ ምስክርነት ቆጠረቻት። «ዳግመኛ ደጄን እንዳትረግጪ!» ብላ በሩን ዘጋች። የቤተ ክርስቲያኑ ሽማግሌዎችም የሺሐረግን ከጸሎት አገልግሎት አገዷት፤ ገበያ ላይ «ምሥጢር ሻጭ» የሚል ስም ወጣላትና ከእሷ ጎመን የሚገዛ ጠፋ። ወር ሳይሞላ ዕቃዋን በማዳበሪያ ጠቅልላ በደሳ ወንድሟ ዘንድ ገባች።

አቶ ቶላ ሽምግልናውን በገዛ እጁ ለቀቀ። ከበደች ከመዘምራኑ ቀረች፤ ልብስ ስታጥብ እንኳ ድምጿ አይሰማም። እሴት ልትናገር ሦስት ጊዜ ሞከረች። በሦስተኛው ሽንኩርት እየከተፉ «እማዬ፣ አንድ ነገር ልንገርሽ» ስትላት እናቷ ጉንጯን በእጇ ጀርባ ዳሰሰችና «አንቺ ባትኖሪልኝ ምን ይውጠኝ ነበር ልጄ? ሰው ሁሉ ሲከዳኝ አንቺ ቀረሽልኝ» አለቻት። እንዲህ ላለች እናት እንዴት ብሎ ይነገራል? እሴት በሽንኩርቱ አሳብባ አለቀሰች። ነገ እናገራለሁ፣ በዓሉ ይለፍ፣ አባዬ ይረጋጋ... ስትል ስምንት ወር አለፈ።

አንድ ማክሰኞ ከበደች ልብስ እያሰጣች ወደቀች። ሐኪሙ ደም ብዛት ነው፣ ጭንቅላቷ ውስጥ ደም ፈሷል አለ። ቀኝ ጎኗ በድን ሆነ፤ ምላሷ ታሰረ። የምትሰማ፣ የምታይ፣ ግን አንዲት ቃል የማትወጣት ሴት ሆና ሆስፒታል ተኛች። ያ ሁሉ ዜማ የወጣበት አፍ፣ ውሃ እንኳ የማይይዝ ሆነ! ያኔ ነው እሴት የተናገረችው። አልጋው ሥር ተንበርክካ፣ ጭንቅላቷን ፍራሹ ላይ ደፍታ።

«እማዬ... እኔ ነኝ። ላስደስትሽ ብዬ ቀዳሁሽ፣ ሳላውቅ ከመዝሙሩ ጋር ጫንኩት። እትዬ የሺ ምንም አላደረጉም። እኔ እያወቅሁ ዝም አልኩ።»

ከበደች ልጇን አየቻት። አንድ ዓይኗ ብቻ አነባ። ከዚያ ፊቷን ወደ መስኮቱ አዞረች። አቶ ቶላ በሩ ላይ ምሳ ዕቃ ይዞ ቆሞ ነበር። ሁሉንም ሰምቷል። ልጁን አልመታም፣ አልረገመም፤ «ሂጂና የሺሐረግን አምጪያት። በእግርሽም ቢሆን» አላት።

በደሳ የገበያ ቀን ነበር። እሴት ከሚኒባስ ወርዳ ቤቱን አጠያየቀች፤ ከመንገድ ዳር ድንጋይ አንሥታ፣ እንደ አባቶች ወግ ማጅራቷ ላይ ተሸክማ፣ ገበያተኛው እያያት ደጃፉ ላይ ተንበረከከች። የሺሐረግ ወጣች። ከስታለች፣ ጠቁራለች።

«ማል ታቴ? ምን ሆነሻል አንቺ ልጅ?»

«እኔ ነኝ እትዬ። የቀዳሁትም የጫንኩትም እኔ ነኝ። የእርስዎን ስም የበላሁት እኔ ነኝ።»

 ያ ሁሉ ስድብ፣ ያ ሁሉ ብቸኝነት በየሺሐረግ ዓይን ላይ ሄደ። «ስምንት ወር!» አለች። «አንዲት ቃል እኮ ነበረች የምትበቃኝ፣ እሴት። አንዲት ቃል!» ቆይታ ደግሞ «እናትሽ ታውቃለች?» ብላ ጠየቀች።

«ታውቃለች። ግን መናገር አትችልም... እየሞተችብን ነው።»

«እና ምን ቆመን እናወራለን? አውርጂው ይህን ድንጋይ!» አለችና ነጠላዋን ከበሩ መዝጊያ ላይ ነጥቃ ወደ መኪናው ቀደመቻት።

ከበደች የሺሐረግን ስታይ ከአንጀቷ የወጣ፣ ቃል ያልሆነ ድምፅ አሰማች። ግራ እጇን ዘርግታ የጓደኛዋን እግር ልትነካ ታገለች። የሺሐረግ እጁን አየር ላይ ይዛ ሳመችው። «ተይ ከቤ! ገብቶኛል። እኔና አንቺ ለመታረቅ አፍ አያስፈልገንም» አለቻትና ፊቷን ፊቷ ላይ አድርጋ ተላቀሱ። አቶ ቶላም ግንባሯን ስሞ «ያቺ ሕፃን የእኔም ልጅ ናት በይ፣ በቃ፣ አብረን እናለቅስላታለን» አላት። ምነው ይህን ቃል ስምንት ወር አስቀድሞ ቢላት!

እሴት በአልጋው በዚያኛው ወገን ነበረች። የእናቷን አንዱን እጅ የሺሐረግ ይዛዋለችና ሌላውን ያዘች። «እማዬ፣ ይቅር ብለሽኝ ከሆነ እጄን ጨበጥ አድርጊኝ» አለች። ጠበቀች። እጁ አልተንቀሳቀሰም። «ትንሽ ብቻ፣ እማዬ...» አልተንቀሳቀሰም። ከበደች ዓይኗን ጨፍና ነበር። እሑድ ጠዋት፣ ሰው ወደ አምልኮ ሲሄድ፣ አረፈች።

ከቀብር መልስ የሺሐረግ እሴትን አቅፋ «ልጄ፣ የያዝሽው ቀኙን እኮ ነው፣ በድኑን። ልጨብጥሽ ብትል እንኳ በምኗ?» እያለች አጽናናቻት። እውነቷን ነው። እሴትም እውነት መሆኑን ታውቃለች። ግን ፊቷን ወደ መስኮት ያዞረችው እናቷስ? ይቅር ብላት ይሆን? ወይስ ቂሟን ይዛ ሄዳ ይሆን? ይህን የሚመልስላት ሰው በዚህ ምድር ላይ የለም። ዕድል ጨካኝ ናት እንላለን፤ አዎ፣ ናት። ግን ወገኖቼ፣ ዕድል ለእሴት ስምንት ወር ሙሉ የምትሰማና የምትመልስ እናት አስቀምጣላት ነበር።