ለሦስት ሰው የተገዛ ጫማ

ዘርአ ዳዊት ከደብረ ብርሃን ዳርቻ፣ ከበረሳ ወንዝ ገደል ሥር በደረቱ ተደፍቶ ተገኘ። ሱፍ ልብሱን ለብሷል፤ ጥቁር ጫማውም በደንብ ታስሯል። ለመንገድ የተነሣ ሰው ይመስላል። የፖሊሱ መቶ አለቃ ወልደአረጋይ ግን ደጋግሞ ያየው እግሩን ነው። ጫማውን በሁለት ጣቱ ቢስበው፣ ክሩ እንደታሰረ ሾልኮ ወጣ።

«ጫማው የሱ ነው?» ሲል የሟቹን አከራይ ወይዘሮ ደመቀችን ጠየቃቸው።

«የሦስቱም ነው ጌታዬ። ሦስት አስተማሪ፣ አንድ ጫማ! ለቅሶ ያለበት፣ ሰርግ የተጠራ፣ መንገድ የሚወጣ በተራ ያደርገዋል። የመረጠው አብዱልጀሊል ነው፤ የነጋዴ ልጅ አይደል? ‹ቡኒ ለሰርግ ቢያምር ለለቅሶ ያሳፍራል። ጥቁር፣ ጌጥ የሌለው፣ ከካኪም ከሱፍም የሚሄድ ይሁን። ልኩም የባለ ትልቅ እግሩ፣ የኃይለ ገብርኤል ይሁን፤ የሰፋ ይጠቀጠቃል፣ የጠበበ ምን ይደረጋል?› አለ። ለሁለቱ መጠቅጠቂያ ጥጥ የምሰጠው እኔው ነኝ።»

ሟቹ ለውጭ አገር ትምህርት ተመርጦ ነበር፤ ጎህ ሲቀድ ወደ አዲስ አበባ ሊሳፈር። በዚያ ሰዓት ቤት የነበረው አብዱልጀሊል ብቻ ነው ተባለና ቀበሌው አሰረው። እንዲህ የታሰረን ሰው የሚወስድ መኪና አለ፤ የሄደበትን የጠየቀ እንጂ መልስ ያገኘ የለም።

ወልደአረጋይ ኃይለ ገብርኤልን አስጠራው።

«ጫማውን ለዘርአ ዳዊት መቼ አስረከብከው?»

«ከጫጫ ከተማ ለቅሶ እንደተመለስኩ፣ ማታ ለሰፈር ጥበቃው፣ ለሮንዱ ሳልወጣ። ሮንድ ላይ ነው ያደርኩት፤ ጓዶቹን ይጠይቁ።»

«ጥጡንስ?»

«የምን ጥጥ?»

መቶ አለቃው ወደ እስር ቤቱ ሄደ።

«ዘርአ ዳዊት ያለ ጥጥ?» አለ አብዱልጀሊል። «እኔም እሱም ያለ ጥጥ በዚያ ጫማ ከደጃፍ አናልፍም! ማታም ቤት አልገባም፤ መናኸሪያ አካባቢ ያደረ መስሎኝ ነበር። መቶ አለቃ፣ መኪናው ነገ ይመጣል አሉኝ። ይድረሱልኝ።»

«እደርሳለሁ» አለው።

በማግስቱ ጠዋት ኃይለ ገብርኤልን፣ ወይዘሮ ደመቀችንና የቀበሌውን ሊቀመንበር ቀበሌው አዳራሽ ሰበሰበ። የአብዱልጀሊል እናት ወይዘሮ አፊፋም ከአሊዩ አምባ መጥተው፣ ለልጃቸው የቋጠሩትን ምግብ ታቅፈው በሩ ሥር ተቀምጠዋል።

«የሟቹ ጥጥ ለመንገዱ እንደተዘጋጀ ቤቱ፣ አልጋው ራስጌ ነው ያገኘሁት» ሲል ጀመረ። «ስለዚህ በዚህ ጫማ ተራምዶ ከቤት አልወጣም። ከሞተ በኋላ ነው ጫማውን ያደረጉለት፤ ጎህ ሲቀድ ለጉዞ የወጣ እንዲመስል። አብዱልጀሊል ቢሆን ጥጡን አይረሳም፤ ያለሱ አይራመድማ። የሚረሳው ጫማው ልኩ የሆነለት፣ ጥጥ ፈልጎ የማያውቅ ሰው ነው። ለትምህርቱ ተጠባባቂ የነበርከውም አንተ ነህ፣ ኃይለ ገብርኤል። ከሮንድ በፊት ከገደሉ አፋፍ ገፋኸው፤ ወርደህም ጫማውን አደረግክለት፣ ሞቱ አንተ ሮንድ ላይ በነበርክበት ሰዓት እንዲመስል።»

ኃይለ ገብርኤል ዓይኑን መቶ አለቃው እጅ ላይ ካለው ጫማ አልነቀለም። «መሬት እስኪነካ ስሜን ነበር የሚጠራው» አለ።

ወልደአረጋይ ወደ ሊቀመንበሩ ዞረ። «አብዱልጀሊልን ልቀቁት!»

ሊቀመንበሩ ወደ ጆሮው ተጠጋ። «መኪናው ሌሊት ቀድሞ መጥቶ ወሰደው፣ ጓድ መቶ አለቃ። ወዴት እንደሆነ ለኛም አልተነገረንም።»

እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል ይባላል። እንዲያድር ለተፈቀደለት ነው እንጂ! ወልደአረጋይ እጁ ላይ ያለው ጫማ ከበደው፤ የሚያስቀምጥበትም ጠፋው።

«ልጄ ነፃ ነው አሉ አይደል?» አሉ ወይዘሮ አፊፋ ከበሩ ሥር።

«ነፃ ነው፣ እናቴ።»

«አልሐምዱሊላህ!» ቋጠሮውን ፈትተው እንጀራው አለመድረቁን ዳሰሱ። «እንግዲያው እስኪያመጡት እዚሁ እጠብቀዋለሁ።»

መቶ አለቃው ሊነግራቸው ጎንበስ አለ። ጫማውን መሬት አኑሮ፣ እንጀራው እንዳይደርቅ ቋጠሮውን መልሶ አሰረላቸውና አጠገባቸው ተቀመጠ።