መንበረ የሚል ትኬት

ሪሀና «ጃኬት እንዳትረሱ፤ ተራራው ላይ በሚያዝያም በረዶ አለ» ብላ ጽፋ ሳትጨርስ፣ ኻልቶ መንበረ ፓስፖርቷን ደብተሩ ላይ አኖረችላት። ኻልቶ በአረብኛ አክስት ማለት ነው፤ ቤሩት ተወልዶ ያደገ የሐበሻ ልጅ የእናቱን ጓደኞች ሁሉ እንዲያ ነው የሚጠራው።

«ማዳሜ ገና ዛሬ ሰጠችኝ» አለች መንበረ፣ አልጋው ጫፍ ላይ ዘፍ ብላ። «ራሷ እያሳደሰች አስራ አንድ ዓመት ቆልፋበት። እስቲ ከትኬቱ ጋር አስተያዪልኝ።»

የቤት ሠራተኝነቱን ጨርሳ ከማዳሟ ሰፈር ከሲን ኤል ፊል እነ ሪሀና እስካሉበት ጃል ኤል ዲብ ሻንጣዋን እየጎተተች መምጣቷ ነው። ሁለት ሌሊት እዚህ፣ በእነ ሪሀና አንዲት ክፍል ውስጥ አድራ እሁድ ከሰዓት ትበራለች።

ሪሀናም ብትሆን ደክሟታል። ገና አስራ አራት ዓመቷ ነው፤ የሰፈሩ ሐበሻ ጉዳይ አስፈጻሚ ከሆነች ግን ሰነበተች። የሐኪም ወረቀት ሲመጣ «ሪሁዬ አንብቢልኝ»፣ የቤት ኪራይ ውል ሲመጣ «ሪሁዬ አንብቢልኝ»፣ ትኬት ሲቆረጥ «ሪሁዬ ቁረጪልኝ» ነው። በዚያ ላይ አስተማሪዋ የነገውን ጉዞ መረጃ እንድታዘጋጅ ጫነችባት። ክፍሉ በሙሉ የሊባኖስን ዝግባ ሊያይ ተራራ ይወጣል፤ መንገዱ ስንት ሰዓት እንደሚፈጅ፣ ምን ዓይነት ጫማ እንደሚያስፈልግ፣ የቱ ጋ ምግብ እንደሚገኝ የምትጽፈው እሷ ናት። ለአንድ ልጅ ትንሽ አይበዛም?

ፓስፖርቱን ገለጠችው። ፎቶው መንበረ ናት፤ ቀጭን፣ የፈራች መንበረ። ስሙ ግን ቀፀላ ለገሰ ይላል።

ትኬቱ ላይ በገዛ እጇ የጻፈችው መንበረ ሞላልኝ ብላ ነው።

«ኻልቶ፣ ይሄ ስም የማን ነው?»

መንበረ መጀመሪያ አልገባትም ነበር። ሲገባት ፊቷ አመድ መሰለ። ያኔ ሌላ ሴት ልትሄድበት ተዘጋጅቶ በቀረ ወረቀት ላይ ደላላው የእሷን ፎቶ ለጥፎ እንደላካት፣ ማዳሟም ቀፀላ ማለት ምላሷ ላይ ከብዷት ማሪያ እንዳለቻት፣ በዚህ ሁሉ ዓመት አንድም ሰው በዚያ ስም ስላልጠራት እሷም ጭራሽ እንደረሳችው ለሪሀናና ልብስ ለምታጣጥፈው እናቷ ነገረቻቸው። ልጇ መቅዲ ደግሞ ከአያቷ ጋር ልትቀበላት ዛሬ ከጎንደር ወደ አዲስ አበባ ተነስታለች። ጥላት ስትመጣ ሦስት ዓመቷ ነበር፤ አሁን የሪሀና እኩያ ናት።

«የደላላው ኃጢአት ነው» አለች መንበረ። «አንቺ ምን ታደርጊ? ያኒ፣ ማለቴ፣ ፓስፖርቱን አላየሽው።»

የሪሀና እናት ናፊሳ፣ የአየር መንገዱ ቢሮ ነገ እስከ እኩለ ቀን ክፍት መሆኑን ተናገረች። እሷ ግን ቅዳሜ ሥራ ናት። መንበረም ብቻዋን እንዳትሄድ፣ አረብኛዋ የወጥ ቤት አረብኛ ነው። ስለ ምግብና ስለ መጥረጊያ ሲሆን ማንም አይችላትም፤ አንድ ሰው እንዴት ሁለት ስም እንደሚኖረው ለማስረዳት ግን አፏ ይተሳሰራል። ናፊሳ ልጇን «ሂጂላት» አላለቻትም። ጉዞውን ስንት ወር እንደጠበቀችው ታውቃለች፤ ዝም ብላ ልብስ ማጣጠፏን ቀጠለች። ሪሀናን የባሰ ያቃጠላት ይኸው ዝምታ ነው።

እውነቱን የምታውቀው እሷ ብቻ ናት። በትኬት መቁረጫው ቅጽ፣ ስም ከሚጻፍበት ሳጥን በላይ፣ በቀይ ቀለም፣ ልክ ፓስፖርቱ ላይ እንዳለው ጻፉ የሚል ነበረ፤ አንብባዋለች። መንበረ የፓስፖርቱን ስም ማዳሟን ጠይቃ እስክትመልስላት መጠበቅ ሰለቻትና፣ ከጓደኞቿ ጋር የተራራውን ፎቶ ለማየት ቸኩላ «ኸላስ፣ አለቀ፣ ሁሉም ልክ ነው» አለቻት። ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል የሚሉት እንዲህ ያለውን ነው። አሁንም ዝም ብትል ማንም አያውቅባትም፤ ጥፋቱን ደላላው ተሸክሞላታል።

«ኻልቶ» አለች፣ ቀና ብላ ማየት አቅቷት። «ፓስፖርቱን እዪ የሚል ነበረ። አንብቤው ነው ያለፍኩት። ቸኩዬ።»

መንበረ አልተቆጣችም። ብትቆጣ በተሻለ ነበር።

«እኔ አስራ አንድ ዓመት ጠብቄ» አለች በቀስታ፣ «አንቺ አንድ ቀን መጠበቅ አቃተሽ?»

እፍረቱ ሪሀናን ጆሮዋ ድረስ አጋላት፤ እንባዋም መጣ። በእጅጌዋ ጠረገችውና ስልኳን አነሳች። የጉዞውን መረጃ ለአስተማሪዋ ላከች፤ ከሥሩም እኔ አልመጣም፣ ቦታዬን ለሌላ ስጡት ብላ ጻፈች። አስተማሪዋ ለምን ብላ ስትደውል አላነሳችውም። ከዚያ ደብተሯን ይዛ አልጋው ላይ፣ ከመንበረ አጠገብ ተቀመጠች። መንበረ አልተጠጋችም፤ አልሸሸችም።

«ከመጀመሪያው ንገሪኝ» አለቻት ሪሀና። «ነገ አየር መንገዱ ቢሮ የምናገረው እኔ ነኝ።»